የጉልበቱ ብሎን

“ትንሽ ላላ ይበልልኝ” አለች ልብስ ሰፊዋ፣ በሁለቱ የመለማመጃ ብረቶች መካከል ቆማ አዲሱን እግሯን ወደፊትና ወደኋላ እያወዛወዘች። “እንደ ደህናው እግሬ ቶሎ ቶሎ እንዲታጠፍልኝ ነው የምፈልገው።”

እግር ሠሪዋ ከሥሯ ተንበርክካ፣ የብሎን መፍቻ ብሩጎላዋን ጉልበቱ ላይ ያለችው ብሎን ውስጥ እንደሰካች ቀና ብላ አየቻት። ሰው ሠራሽ እግር መሥራት ከጀመረች ቆይታለች፤ ሰፈሩም ወርክሾፑም በሥራዋ እንጂ በስሟ አይጠራትም። እዚህ ለሚመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የምታቀርበው ጥያቄ አንድ ነው። ለልብስ ሰፊዋም አቀረበችላት፤ ቀን የት ነው የምትውዪው? ልብስ ሰፊዋ ጠዋት ጥቂት ደረጃ እንደምትወጣ፣ ከዚያ በኋላ ግን እስኪመሽ ድረስ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ፊት መቀስ ይዛ ቆማ እንደምትውል ነገረቻት።

“እንግዲያው መላላቱ አይበጅሽም” አለቻት እግር ሠሪዋ። “ሲላላ ለመራመድ ይቀልሻል፤ ግን ዘንግተሽ የተደገፍሽበት ቀን ይከዳሻል። ሲጠብቅ አይከዳሽም፤ ግን በየእርምጃው ከዳሌሽ ጎትተሽ ታነሺዋለሽ። ሁለት ወዶ አይሆንም። አንቺ ከመሄድ መቆም ይበዛብሻል፤ መቀስ ይዞ መውደቅ ደግሞ ጥሩ አይደለም።”

ልብስ ሰፊዋ ትንሽ አሰብ አድርጋ ሳቀች። ጨርቅም እንዲሁ ነው አለች፤ አስፍተው ከቆረጡት ይባክናል፣ አጥብበው ከቆረጡት ባለቤቱ ሲቀመጥ ይተረተራል። ብሎኗ ጠበቅ ተደረገችላትና እየተመረቀችና እየመረቀች ሄደች።

የሁሉም ነገር ቁልፍ ያቺ ብሎን ነበረች። ስትዞር የጉልበቱን ማጠፊያ በጥቂት ሚሊሜትር ወደኋላ ትወስደዋለች፣ ወይም ወደፊት ታመጣዋለች። ወደኋላ ሲሄድ እግሩ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ወደፊት ሲመጣ ይቀላል፣ ይታጠፋል፣ ያልተጠነቀቀውንም ይጥላል። ሁለቱንም አስታርቆ የያዘ ጉልበት በዓለም ላይ የለም ማለት አይደለም። ለናሙና የመጣ አንድ አለ፤ ቁም ሣጥን ውስጥ ከመስታወት ጀርባ ተቀምጧል። ሆዱ ውስጥ ዘይት አለው፤ ሰው ሲደገፍበት ራሱ ይይዛል፣ ሰው ሲራመድ ራሱ ይለቃል። የወርክሾፑ ኃላፊ እንግዳ በመጣ ቁጥር ያሳዩታል እንጂ ለማንም ሰጥተውት አያውቁም። ይህን አንዱን በምናስመጣበት ዋጋ ሠላሳ ሰው በእግሩ ይሄዳል ይላሉ። ዘይቱ የፈሰሰ ዕለት የሚጠግነው ሰው አለመኖሩንም ይጨምሩበታል። እኒህ ኃላፊ ሻለቃ ነው የሚባሉት። የወታደር ቤት ደጅ ረግጠው አያውቁም፤ ሹመቱን ያሰጣቸው ድምፃቸው ነው።

እግር ሠሪዋ ጄሶ የነካውን እጇን እየታጠበች ሳለ አባቷ በበሩ ሲገባ ሳታየው አወቀችው። አረማመዱ አይጠፋትም። ደህናው እግር ረገጥ ያደርጋል፤ ከዚያ ረዘም ያለ ዝምታ አለ፤ ከዚያ እሷ የሠራችው እግር በጎን በኩል ዞሮ ይመጣና ወለሉን ጧ ያደርገዋል።

“ምነው አባዬ? በደህና ነው?”

“በደህና ነው። ወገቤን ብቻ ትንሽ ያዝ አድርጎኛል። እርጅና መሰለኝ” አላትና አግዳሚው ላይ ተቀመጠ።

አባቷ ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ነድቷል። ስኳር በሽታ ቀኝ እግሩን ከጉልበቱ በላይ ሲወስድበት “ነዳጅ መስጫውንም ፍሬኑንም ወሰደው፤ መሪው ግን አለ” ብሎ ሐኪሞቹን ያሳቀ ሰው ነው። እናቷ ካረፈች ወዲህ ቤት ውስጥ ያሉት ሁለቱ ብቻ ናቸው። እሷ ጠዋት ትወጣለች፤ እሱ እስክትመለስ ብቻውን ይውላል። ከቤታቸው በላይ፣ ዳገቱ ጫፍ ላይ፣ ጎማ የሚጠግን አንድ ጎሚስታ አለ። ጡረታ የወጡ ሹፌሮች ጠዋት ጠዋት እዚያ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጠው ይጫወታሉ፤ ያለፈ ያገደመውን መኪና ሁሉ ይተቻሉ። አባቷ እግሩን ካጣ ወዲህ እዚያ ደርሶ አያውቅም። አዲሱ እግር ሲመጣ እሄዳለሁ ይል ነበር፤ እግሩ መጣ፣ እሱ ግን ከውጭው በር አላለፈም። ዳገቱ እኔ ሳላየው ረዝሟል እያለ ይቀልዳል። እሷ ደግሞ ቀልዱን ሰምታ ትስቃለች፤ እውነቱን ለመናገር በልቧም ደስ ይላታል። ቤት የሚውል ሰው መንገድ ላይ አይወድቅም።

ከሳቋ በታች ለማንም ያልተናገረችው ነገር ነበር። በዚህ ወርክሾፕ የተጻፈ ባይሆንም ሁሉም የሚያውቀው ሕግ አለ፤ የዘመድ እግር ዘመድ አይለካም። እሷ ግን ሻለቃን ለምና፣ ደጅ ጠንታ፣ የአባቷን እግር ራሷ ለካች፣ ራሷ ሠራች። ያን ጊዜ አንድ ቀን ቁም ሣጥኑ ፊት ቆማ በመስታወቱ ውስጥ ያለውን ጉልበት ስታይ ሻለቃ አግኝተዋት አልፈዋል። እሷም ተራውን ጉልበት ወሰደች። ከዚያ ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ነውና፣ ብሎኗን ሄዳ ሄዳ እምቢ እስክትል ድረስ ወደኋላ አዞረቻት። ለሌላ ለማንም እንዲያ አድርጋ አታውቅም። ለሰው ሁሉ የምትጠይቀውንም ጥያቄ አባቷን አልጠየቀችውም፤ የት እንደሚውል የማውቅ መስሎኝ ነው ትላለች ለራሷ ስትሟገት።

“እስኪ ትንሽ ይራመዱልኝ” አሉ ሻለቃ፣ ከጄሶው ክፍል ነጭ አቧራ ለብሰው ወጥተው። አባቷ በብረቶቹ መካከል ሄዶ ተመለሰ። ሻለቃ አረማመዱን አይተው ሲያበቁ ልጅቱን ወደ መስኮቱ ወሰድ አደረጓት። ሻለቃ ድምፃቸውን ዝቅ ካደረጉ ነገር አለ ማለት ነው።

እግሩን በየእርምጃው ከወገቡ እየጎተተ እያነሳው መሆኑን፣ በዚህ ከቀጠለ ወገቡም ደህናው ጉልበቱም እንደማይሰነብቱ ነገሯት። እሷም ይህ ጠፍቷት እንዳልሆነ ያውቃሉ።

“ከመውደቅ አዳንሽው” አሉ በመጨረሻ። “ከመሄድም አዳንሽው።”

ወደ ሥራቸው ተመለሱ። እሷ መስኮቱ ሥር ቆማ ቀረች፤ ፊቷ በእፍረት ጋለ። ከዚያ ብሩጎላዋን ከጋዋኗ ኪስ አወጣችና ሄዳ አባቷ እግር ሥር ተንበረከከች። ሱሪውን ወደ ላይ ሰብስባ ብሎኗን ስታገኛት ቀና ብላ ልታየው አልደፈረችም።

“አባዬ፣ አርጅተህ አይደለም። ይህችን ብሎን እስከ መጨረሻው ያጠበቅኋት እኔ ነኝ። እንዳትወድቅብኝ ብዬ ነው።”

“አውቃለሁ” አላት።

“ምኑን ታውቃለህ?”

“ዕድሜ ልኬን ነድቼ የእጅ ፍሬኑ ያልተለቀቀ መኪና አላውቅም ብለሽ ነው? ገና የመጀመሪያው ቀን፣ ከመኝታ ቤት ሳሎን ስደርስ ነው ያወቅሁት።”

“ታዲያ ለምን ዝም አልከኝ?”

አባቷ የጋዋኗ ትከሻ ላይ ያረፈውን ጄሶ በጣቱ አራገፈው።

“ማታ ስትገቢ ገና በሩን ከፍተሽ የምትፈልጊው እኔን ነው” አላት። “ቁጭ ብዬ ስታገኚኝ ፊትሽ ይፈታል። እሱን ካየሁ በኋላ ምን ብዬ ልንገርሽ? እኔም አመዛዘንኩ። ወገቤ ይሻላል አልኩ።”

ለካ እሷ በአንድ በኩል ስትመዝን እሱ ደግሞ በሌላው በኩል ይመዝን ነበር፤ ሁለቱም ሒሳባቸውን ለየብቻ ይዘው ወራት አልፏቸዋል። ዓይኗን በጋዋኗ እጅጌ ጠረገችና፣ ለእንግዳ ሰው ሁሉ የምታቀርበውን ጥያቄ ዘግይታም ቢሆን አቀረበችለት።

“የት መዋል ነው የምትፈልገው?”

“ጎሚስታው ጋ ነዋ። ሦስተኛ ማርሽ ያን ጎማ ላይ ተዘፍዝፎ ስለኔ አነዳድ ውሸቱን እየነዛ ነው፤ የሚያስተባብለው ሰው የለም።” ሦስተኛ ማርሽ የቀድሞ የሥራ ባልደረባው ነው፤ ዳገትም ይሁን ሜዳ ማርሽ መቀየር አይወድም ነበር።

“ብትወድቅስ? ያቺን አንዷን እግርህን ብትሰብርስ? እኔ ሥራ ላይ ሆኜ ማን ያነሳሃል?”

“መውደቁን እወድቃለሁ። የማይጋጭ መኪና ጋራዥ ውስጥ የቆመው ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ጎማው በስብሶ ያልቃል። ፈሪ ለእናቱ ይባላል፤ ለአባቱ የሚፈራ ግን አንቺን አየሁ።”

ብሎኗን ወደፊት ማዞር ጀመረች። ትንሽ አዞረችና አስኬደችው፤ ሌላ ትንሽ አዞረችና አስኬደችው። በሦስተኛው ሙከራ እግሩ በጎን መዞሩን ተወና ከሥሩ ታጥፎ በቀጥታ መጣ። የእርምጃው ድምፅ ተለወጠ፤ ያ ረጅሙ ዝምታ አጠረ። አባቷ ሰማው። መጀመሪያ አንድ እጁን ከብረቱ ላይ አነሳ፣ ከዚያ ሁለቱንም። በሄደበት ቁጥር ፍጥነቱ እየጨመረ መጣ፤ ፊቱ ላይ ያለው እንኳን ፈገግታ ነው ለማለት ያስቸግራል፣ ሹፌር ባዶ መንገድ ሲያገኝ የሚያሳየው ዓይነት ነበር። ከብረቶቹ ጫፍ ሲደርስ ሊቆም ፈለገ። ለመቆም ደግሞ የሚያውቀው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ ሠላሳ ዓመት እንዳደረገው በቀኝ እግሩ ረገጠ።

በከፊል የታጠፈው ጉልበት ከዳው። ከብረቶቹ ውጭ፣ ላስቲኩ ወለል ላይ በጎኑ ወደቀ።

እንዴት እንደደረሰች አታውቅም። ብቻ አጠገቡ ተንበርክካ ነበር፤ ተጎዳህ ወይ አላለችም። ብሩጎላው ብሎኗ ውስጥ ገብቷል፤ ወደኋላ ልታዞራት ነው። ሻለቃ ከጄሶው ክፍል ብቅ ብለው በሩ ላይ ቆሙ። አልቀረቡም።

“ተያት” አላት አባቷ ከወለሉ ላይ። ክርኑን እያሻሸ ነው፤ ትንፋሹ ተቆራርጧል፤ ድምፁ ግን የተረጋጋ ነው። “ብሎኗን ተያት። እኔ ነኝ ያጠፋሁት፤ ያለ ቦታው ፍሬን ያዝኩ።”

“አባዬ፣ እንዲህ ሆነህ…”

“ሌላ ሰው ሲወድቅብሽ ምንድን ነው የምታደርጊው?”

ሌላ ሰው ቢሆን መልሱ ቀላል ነበር። ይህን ዓይነት ጉልበት ለሚወስድ ሰው ሁሉ ከመራመድ በፊት የምታስተምረው አወዳደቅን ነው፤ ማዕዘኑ ላይ ተደግፎ የቆመው ወፍራም ፍራሽ የመጣውም ለዚሁ ነው። ለአባቷ ግን አንድም ቀን አላስተማረችውም። የማይወድቅ ሰው መውደቅን ተምሮ ምን ይሠራለታል ብላ ነበር።

ብሎኗን አየቻት። ሁለት ዙር ወደኋላ ቢሆን ሁሉም ነገር እንደነበረው ይሆናል፤ ማታ በሩን ከፍታ ስትገባ እዚያው ወንበሩ ላይ ታገኘዋለች፤ ልቧ ያርፋል። ብሩጎላውን ግን ከብሎኗ ነቅላ ኪሷ ውስጥ ከተተችው።

ክንዱን ይዛ አነሳችው። ክርኑን አየችለት፤ ትንሽ ተልጧል እንጂ ደህና ነው። ፍራሹን እየጎተተች አምጥታ ከፊቱ ዘረጋችና እንደ ማንኛውም ሰው ታስረዳው ጀመር። ክንዱን አጥፎ እንጂ አድርቆ እንዳይዘረጋ፣ በደህናው ጎኑ እንዲያርፍ፣ ትከሻውን አስቀድሞ እንዲንከባለል ነገረችው። አባቷ እንደ አዲስ ተማሪ አንገቱን እየነቀነቀ ሰማት። አባቱን ውደቅ የሚል ልጅ አይቼ አላውቅም ብሎ ሊቀልድ ጀምሮ፣ ፊቷን ሲያይ ተወው።

እግር ሠሪዋ ሁለት እርምጃ ወደኋላ ሄደች። እጆቿ ሳይታዘዙ እንዳይዙት ከኋላዋ አጣምራ ቆለፈቻቸው።

“በል አባዬ” አለችው። “አሁን ውደቅ።”