ሽምግልና በአራት ፍሬቻ

እንጅባራ ውስጥ ካሉት መኪኖች ሁሉ የአዝመራው ቮልስ ትበልጣለች። በቁመት አይደለም፤ በቁመትማ ባጃጅም ይስተካከላታል። በክብር ነው። ሰማያዊ፣ የሰባ አንድ ሞዴል፣ ሞተሯ ከኋላ፣ ድምጿ ሦስት ቀበሌ አልፎ የሚሰማ። አዝመራው የገዛት ከአንድ ጡረተኛ የመንገድ ሥራ ቀያሽ ነው። ሲያወራ ግን ሰውየው መሐንዲስ ይሆናል፣ ጨዋታው ሲሞቅ ደግሞ ጄኔራል።

የዚች መኪና አንድ ጉድለት መብራቷ ነበር። በ2008 ክረምት፣ ጉም መንገዱን በሸፈነበት አንድ ጠዋት፣ የባጃጅ ሹፌር ከጎኑ ደርሶ፣ «አባባ፣ ጧፍ አብርተው ነው እንዴ የሚነዱት?» ብሎት አለፈ። አዝመራው ያን ቀን ምሳ አልበላም። እራትም አልበላም ይባላል፤ ሚስቱ ደብሪቱ ግን በልቷል ትላለች። በማግስቱ ባሕር ዳር ለሚመላለስ ነጋዴ የመኪናዋን መብራት በሙሉ፣ ከፊት እስከ ኋላ፣ ፍሬቻውን ጭምር፣ በኤልኢዲ አምፖል እንዲያመጣለት አዘዘ።

አምፖሎቹ የደረሱት ጥር ላይ ነው፣ እሱም በዓመቱ ትልቁ ጉዳይ ዋዜማ።

ጉዳዩ የአበረ ጉዳይ ነበር። አበረ የሟች ወንድሙ ልጅ ነው፤ ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ እንደ ልጁ ያሳደገው። ዳንግላ ያለችውን ሸጋን ወዷል፣ እሷም ወዳዋለች፤ የቀረው አባቷ አቶ ቢያድግልኝ ናቸው። አቶ ቢያድግልኝ ሃያ ሁለት ዓመት የጭነት መኪና ነድተው አሁን ወፍጮ ቤት ያላቸው፣ ወሬ የሚጠሉ፣ ጉራ ደግሞ ከወሬም አብልጠው የሚጠሉ ሰው ናቸው። ለሸጋ ከሌላ ቤት የመጡ ሽማግሌዎችን ሁለቴ መልሰዋል። የመጀመሪያዎቹን ሳይጠየቁ የልጁን አባት በሬዎች ስለቆጠሩ፣ ሁለተኛዎቹን ድምፃቸው ከበር ማዶ ስለተሰማ። ሽማግሌ ሲሄድ አንገቱን ሰብሮ፣ መኪና ካለውም ራቅ አድርጎ አቁሞ፣ ተቀመጡ እስኪባል ደጅ ቆሞ ነው። አበረ የለመነው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«ጋሼ፣ እባክዎ፣ ድምፅ አይብዛ። ሦስተኛ ከመለሱ ሸጋ ጎንደር አክስቷ ዘንድ ልትላክ ነው።»

አዝመራው እንደ ጥላ ገብቶ እንደ ጥላ እንደሚወጣ ማለለት።

አርብ ዕለት ቮልሷን ወደ አሳምነው ወሰዳት። አሳምነው መናኸሪያው አጠገብ የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ እጁ ፈጣን አፉ ዝግተኛ ሰው ነው። አሮጌዎቹን አምፖሎች አንድ በአንድ ነቅሎ ለአዝመራው አቀበለው። አዝመራውም ለማየት የተሰበሰበው ሰው እያየ (አርባ ይሆናል፣ አምስት ያሉም አሉ) አንድ በአንድ ከጋራዡ ጀርባ ካለው ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ወረወራቸው። ከእንግዲህ ይህ የሻማ ዘር መኪናዬን አይነካም አለ።

የፊት መብራቱ ሲበራ ጋራዡ ፊት ለፊት ያለው የቆርቆሮ አጥር ነጭ ሆነ። አጥሩ ላይ የነበረች ድመት ዓይኗን ጨፍና ወደቀች። አዝመራው ደረቱን ነፍቶ መሪው ላይ ተቀመጠና የግራውን ፍሬቻ አበራ።

አራቱም በሩ። የግራ ፊት፣ የግራ ኋላ፣ የቀኝ ፊት፣ የቀኝ ኋላ፣ እኩል ጥቅስ ጥቅስ። ወደ ቀኝ ገፋው፤ ያው አራቱም።

አሳምነው ከመሪው ፊት ካለው ክሩስኮት ሥር ገብቶ ብዙ ቆይቶ ወጣ። ነገሩን ቀስ ብሎ አስረዳው። በዚች መኪና ሹፌሩ ፊት የምትጠቅሰው ምልክት አንዲት አምፖል ናት፣ ለግራም ለቀኝም እሷው። ግራ ሲበራ በእሷ በኩል ሾልኮ ወደ ቀኝ የሚያልፍ ጥቂት ኤሌክትሪክ አለ። አሮጌው አምፖል ብዙ ስለሚፈልግ ያቺ ጥቂት አትበቃውም፣ ስለዚህ አይበራም። ኤልኢዲው ግን ትንሽ ይበቃዋል፣ ስለዚህ ይበራል።

«በየጎኑ አንድ አንድ አሮጌ አምፖል እንመልስና ይስተካከላል፣ ጋሼ። የት አደረጓቸው?»

ሁሉም ወደ ጉድጓዱ አየ።

አዝመራው ደግሞ ቢገኙም አላስመልስም አለ። መኪናዬ አንድ ዓይኗ ኮረዳ አንድ ዓይኗ አሮጊት ልትሆን ነው ወይ ብሎ ተቆጣ። ይህን ያለው ሰው ፊት ነው። ቅዳሜ ጠዋት ግን ማንም ሳያየው የእንጅባራን የመለዋወጫ ሱቆች አንድም ሳይቀር ዞረ። የባጃጅ አምፖል አለ፣ የሚኒባስ አለ፣ የትራክተር እንኳ አለ። የቮልስ የለም። አንዱ ባለ ሱቅ እንዲያውም እሷ መኪና አሁንም ትሄዳለች ወይ ብሎ ጠየቀው። ከሰዓት በኋላ ግቢው ውስጥ ተንበርክኮ አራቱን አምፖሎች ነቀለ፣ አገላብጦ ሰካ፣ የግራውን ቀኝ የቀኙን ግራ አደረገ። አበራ፤ አራቱም። ሽቦ ጠቀለለ፤ አራቱም። ጎማዋን በእግሩ መታ፤ አራቱም፣ አውራ ጣቱም አበጠ።

ደብሪቱ ከደጅ ሆና ስታየው ቆይታ በሚኒባስ ሂዱ አለችው። እሱም እኔ አዝመራው ለአበረ ሽምግልና በሚኒባስ፣ በዶሮና በሽንኩርት መሃል ተቀምጬ ልሂድ ወይ አላት። ዶሮዋ ትሻል ይሆናል፣ እሷ አትናገርም አለችው። በመጨረሻ ፍሬቻውን ጨርሶ ላይነካ ወሰነ። በእጁ ምልክት እያሳየ ሊሄድ።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አብረውት የሚሸመግሉትን መምሬ ሀብቱን ከጎኑ አስቀምጦ ተነሳ። መምሬ ነጭ ጥምጣም፣ ነጭ ጋቢ፣ ጃንጥላ በጉልበታቸው መሃል። እሱም ነጭ ጋቢ ለብሷል። ከሚኒባስ ኋላ ለመውጣት እጁን በመስኮት ባወጣ ቁጥር የጥር ብርድ እስከ ብብቱ ይገባል። አዲስ ቅዳም ላይ እጁን ሲያወጣ በከሰል ጆንያዎቻቸው ጥግ የቆሙት ነጋዴዎች ሰላምታ መስሏቸው እጃቸውን አወዛወዙለት። ከኋላው የመጣው አይሱዙ ግን ምልክት መሆኑ አልገባውም፤ ሊገጨው ሲል ጥሩምባውን ነፋበት። መምሬ አማተቡ። ዳንግላ ሲደርሱ የአዝመራው ግራ እጅ በብርድ ደንዝዞ የእሱ መሆኑ ቀርቶ ነበር።

መገንጠያው ላይ የትራፊክ ፖሊስ አስቆመው። ወጣት ነው፣ ትሁት። እጁን አይቶ፣ «አባት፣ መኪናዋ ፍሬቻ የላትም?» አለው።

አይ፣ ተበላሽታለች ቢል ያልቅ ነበር። መምሬ በኋላ ደጋግመው የሚያነሱት ይህን ነው። አዝመራው ግን የለህም መባልን ከልጅነቱ ጀምሮ አይችልም።

«የሌላት ምን አለ?» አለና የፍሬቻውን ማንሻ ወደ ግራ ደፋው።

አራቱም በሩ፣ በጠራራ ፀሐይ እንኳ ዓይን የሚወጋ ነጭ። ፖሊሱ አራቱን መብራት አየ፣ ነጩን ጋቢ አየ፣ የመምሬን ጥምጣም አየ። ወሩ ጥር ነው፣ ቀኑ እሁድ። በዚህ አገር በጥር እሁድ አራት ፍሬቻ አብርቶ ከተማ የሚገባ መኪና አንድ ጉዳይ ብቻ ነው ያለው። ፊቱ በፈገግታ በራ፤ እንኳን ደስ ያላችሁ ብሎ ፊሽካውን ነፋና ከየአቅጣጫው የሚመጡትን ጋሪዎች አስቁሞ መንገዱን ለቮልሷ ለቀቀላት።

አዝመራው ማንሻውን ወደ ቦታው ሊመልስ ጎተተ። እንቢ አለ። በኃይል ጎተተ። ማንሻው ከሥሩ ተቆርጦ እጁ ላይ ቀረ፤ ጉማጁ ወደ ግራ እንደተደፋ ነው፣ መብራቱም አልቆመም።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ዳንግላ ገና ታወራዋለች። አንድ ባለ ጋሪ ፈረሱን አዙሮ ከኋላ ተከተለ። ሁለት ባጃጆች ጥሩምባ እየነፉ ተሰለፉ፤ አራት ሆኑ፤ ሃያ ሆኑ። በየደጁ ሴቶች እልል አሉ። አንድ ሺህ ሰው ይሆናል፣ ተቀንሶ ተቀንሶ ዘጠኝ መቶ። አዝመራው ላቡ በጋቢው ላይ እየወረደ ቁልፉን አጠፋ። መብራቱ ቆመ፣ ሞተሩም ቆመ። አልፈውት ይሄዳሉ ብሎ ሲጠብቅ የሙሽራ መኪና ተበላሸች ተባለና አሥር ጎረምሳ ከኋላዋ ተረባርቦ እየዘፈነ ይገፋት ጀመር። ከገፏት አይቀር ብሎ ቁልፉን መለሰ። ሞተሩ ተነሳ፤ አራቱም ፍሬቻ ተነሱ፤ እልልታውም አብሮ ተነሳ።

መምሬ ጃንጥላቸውን ተደግፈው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «አዝመራው፣ ሠርግ አይደለም በላቸው» አሉት።

ሊል ነበር። አፉን ከፍቶ ነበር። አንዱ የባጃጅ ሹፌር በመስኮቱ ትይዩ ደርሶ ቮልሷን ከላይ እስከ ታች ገረመማት።

«የማን ሠርግ ነው፣ አባባ? በአንዲት ቮልስ! ትንሽ ሠርግ ነች መሰለኝ።»

«ትንሽ?» አለ አዝመራው። «የአቶ ቢያድግልኝ ልጅ ሠርግ ነው ትንሽ?»

ቃሉ ከአፉ ሲወጣ መልሶ ሊይዘው እጁን የዘረጋ ይመስል ነበር። ባጃጁ ግን ፍጥነት ጨምሮ ቀደመ። መምሬ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

እነሱ ሲደርሱ የአቶ ቢያድግልኝ ደጅ በሰው ተሞልቶ ነበር፤ ጎረቤት ሁሉ ሳይጠራ የቀረ መስሎት ተቆጥቶ የመጣ። አቶ ቢያድግልኝ ኮታቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው በሩ ላይ ቆመዋል። ከኋላቸው በመስኮቱ ሸጋ ስትታይ መጋረጃው ተዘጋ። አባትየው እጃቸውን አንድ ጊዜ ከፍ አደረጉ። ጥሩምባው ቆመ፣ እልልታው ቆመ። አራቱ ፍሬቻ ብቻ አልቆሙም።

«ልጄን ዛሬ እንደዳርኩ ከባጃጅ ሹፌር ሰማሁ» አሉ። «ለማን እንደዳርኳት ልጠይቃችሁ።»

አዝመራው የሚለውን ያውቅ ነበር። ከእንጅባራ ጀምሮ ያዘጋጀው ንግግር አለ፤ የዘሩ ታሪክ፣ የአበረ ጉብዝና፣ የመሬቱ ስፋት። መኪናዋም ለጄኔራል ከጀርመን በመርከብ የመጣች መሆኗ በመካከል አለ። መስኮቱን አየ። አበረን አሰበው፣ ቤት ተቀምጦ ሰዓቱን የሚያየውን። ከመኪናው ወረደና የተቆረጠውን ማንሻ በሁለት እጁ እንደያዘ ቆመ።

«ሽማግሌ ነን» አለ። «በዝምታ ልንመጣ ነበር። መብራቱን ኤልኢዲ ያስቀየርኩት እኔ ነኝ። አሮጌው ይመለስ ስባል እንቢ ያልኩ እኔ ነኝ። ሠርግ ነው ያልኩትም እኔ ነኝ። ልጁ ምንም አላጠፋም። እንደኔም አይደለም።»

ሲጨርስ ራሱም ገረመው። ያወራው በልኩ ነበር፣ አንድ ጣት እንኳ ያልተጨመረበት።

አቶ ቢያድግልኝ ቀስ ብለው ወደ ቮልሷ ሄዱ፣ የፊቱን ፍሬቻ ጎንበስ ብለው አዩት፣ ወደ ኋላ ዞረው የኋላውን አዩት። ከዚያ አንገታቸውን በመስኮት አስገብተው ክሩስኮቱ ላይ የምትጠቅሰውን አንዲት አምፖል አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። ወደ ቤት ገቡ። ሲመለሱ በአንድ እጃቸው ፒንሳ፣ በሌላው የዛገ የብስኩት ቆርቆሮ ይዘዋል። በፒንሳው የማንሻውን ጉማጅ ይዘው ወደ ቦታው መለሱት። መብራቱ ጠፋ። ከቆርቆሮው ውስጥ ሁለት አሮጌ አምፖል መርጠው በየጎኑ አንድ አንድ ከኋላ ራሳቸው ሰኩ። ጉማጁን ገፉት። የግራው ብቻ በራ፤ ከፊት ነጭ፣ ከኋላ ቢጫ። መልሰው አጠፉት።

የተሰበሰበው ሰው የሚያየውን ሳያውቅ ይጠብቃል። አቶ ቢያድግልኝ እጃቸውን በመሃረብ ጠርገው ለመምሬ ብቻ፣ አዝመራውን ሳያዩ ተናገሩ።

«ዛሬ ሽማግሌ አልመጣም። የመጣው መኪና ነው። አምፖሎቹ ግን የኔ ናቸው፣ የሚመለሱ። በሚመጣው እሁድ መልሱልኝ። በእግር፣ ከገበያው ጀምሮ።» ወደ ደጃቸው ደርሰው ቆሙና ጨመሩ። «እሱም ይምጣ። ዛሬ እንደተናገረው የሚናገር ከሆነ።»

በሩ ተዘጋ። ባጃጆቹ ሠርጉ መቅረቱ ሲገባቸው እያጉረመረሙ ተበተኑ። ከመጋረጃው ጀርባ ግን አንዲት ሴት ስትስቅ መምሬ ሰምተዋል፤ ለአበረም የነገሩት እሱን ነው።

አዝመራው እስከ እንጅባራ ድረስ አልተናገረም። ሰላሳ ስምንት ኪሎ ሜትር ሙሉ፣ እሱ። ግቢው ሲገቡ ደብሪቱ መኪናዋን በዙሪያዋ ሄዳ አየቻት፣ በየጎኑ የፊቱ ፍሬቻ ነጭ፣ የኋላው ቢጫ።

«ይቺ ምን ሆነች? አንድ ዓይኗ አሮጊት ሆነ እኮ» አለችው። «ደግሞስ ዳንግላ እንዴት ተቀበለቻችሁ?»

አንድ ሺህ ሰው በእልልታ፣ ፖሊስ መንገድ ከፍቶ፣ ባጃጅ ተሰልፎ፣ ጎረምሳ እየዘፈነ ገፍቶ። በሃምሳ ሁለት ዓመቱ አንዲት ነገር መጨመር የማያስፈልገው ታሪክ አገኘ፤ ሊያወራው ግን አይችልም። ጎንበስ ብሎ ያበጠውን የእግሩን አውራ ጣት አሸ።

«ደህና ነው» አላት። «አምፖሎቹን አትንኪያቸው። የሰው ናቸው።»