ዳቦ የማይነካው አሰልጣኝ

ጂሙ ምድር ቤት ነው። ከመንገዱ ወደ ታች ደረጃ ወርደው ከባዱን የብረት በር ሲገፉ፣ ከዚያ ወዲያ መስኮት የሚባል ነገር የለም። ሦስቱ ግድግዳዎች መስታወት ናቸው። አራተኛው ላይ የአሰልጣኙ ፎቶ ከወለል እስከ ጣሪያ ተለጥፏል፤ ከወገቡ በላይ ራቁቱን ነው፣ የሆዱ ጡንቻ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ከሥሩ በትልልቅ ፊደል «ዳቦ ተው፣ ወንድ ሁን» ይላል።

ሰውየውን ሁሉም «ብረቱ» ይለዋል። ብረቱ ከዚህ በፊት አናጺ ነበር። ይሠራበት የነበረው የቤት ዕቃ ፋብሪካ ተዘግቶ ቤት ውስጥ ሲንጎራደድ የሚስቱ ታላቅ ወንድም ጠራውና፣ «ጂም ልከፍት ነው፤ አንተ ደግሞ ተፈጥሮ ያደለችህ ሰው ነህ፣ ና አብረን እንሥራ» አለው። ይህን ሰው እህቱም፣ ብረቱም፣ በኋላ ደንበኛው ሁሉ «ጋሼ» ነው የሚሉት። ጋሼ ሥራ ብቻ ሰጥቶ አልቀረም፤ ከጂሙ በላይ ያለውንም ቤት «ግቡበት» አላቸው። ባልና ሚስት ዕቃቸውን ጭነው መጡ። ሚስቱ የተማሪ ዩኒፎርም ሰፊ ናት፤ የስፌት መኪናዋን መስኮቱ ሥር አስቀመጠች። ብረቱም ሥራው ከእግሩ ሥር፣ አልጋው ከሥራው በላይ ሆነ። ሲያስነጥስ እንኳ ጋሼ ከታች «ይማርህ» የሚለው ሁሉ ይመስለው ነበር።

ጂሙ መጀመሪያ ላይ ጭር ያለ ነበር። አንድ ቀን ጋሼ ስልኩን ይዞ እየሮጠ መጣ።

«አገኘሁት! ኪቶ ይሉታል። ዳቦ የለ፣ ሩዝ የለ፣ ስኳር የለ፤ ቅባት፣ ሥጋ፣ እንቁላል ብቻ። የወንዱን ሆርሞን ሰማይ ነው የሚያደርሰው። ቴስቶስትሮን! ወንድ የሆነ ሁሉ ይመጣል።»

«ተጣርቷል ግን?» አለ ብረቱ።

«አንተ ላይ ይጣራል» አለ ጋሼ እየሳቀ። ራሱም አብሮት ሊጀምር ማለ፣ ጀመረም።

እውነትም መጀመሪያ ላይ ያምር ነበር። ብረቱ ቀለል አለው፣ ጡንቻው ጎልቶ ወጣ፣ ፎቶውን ያነሱት ያኔ ነው። ፎቶው ግድግዳው ላይ በወጣ ማግስት ሰው ይጎርፍ ጀመር። ችግሩ፣ ብረቱ ከመነሻው ወፍራም አልነበረም። ፎቶው አንዴ ተለጥፏል፣ አይለወጥም፤ ሰውየው ግን በየቀኑ ፎቶውን መምሰል አለበት። ትንሽ ሞላ ያለ በመሰለው ቁጥር ጋሼ በጣቱ ሆዱን ወጋ አድርጎ «ምንድን ናት ይቺ?» ይለዋል። ስለዚህ ቅባቱንም ቀነሰ። ዘይቱን ተወ፣ አቮካዶውን ተወ፣ የእንቁላሉን አስኳል ተወ። የቀረው የዶሮ ደረትና የእንቁላል ነጩ ነው። ያንን በልቶ ከጠዋቱ ቡድን ጋር ብረት ያነሳል፣ ከቀኑ ቡድን ጋር ያነሳል፣ ከማታው ቡድን ጋር ደግሞ ይሮጣል።

ከዚያ ቀስ በቀስ አንድ ነገር ከውስጡ ይከዳው ጀመር። በሞቃት ቀን ይበርደዋል። እንቅልፉ ይቆራረጣል። ሲናገሩት ሆድ ይብሰዋል፣ ደግሞ በሆነው ባልሆነው ይቆጣል። ከሚስቱ ጎን ሲጋደም ግንድ ነው። መጀመሪያ ድካም ነው ብሎ አለፈው፤ እያደር ግን ስሜቱ ራሱ ጠፋ። እጇን ደረቱ ላይ ስታሳርፍ የሰው ዕቃ እንደተቀመጠበት ሰው ዝም ይላል።

«ተጣላን እንዴ?» አለችው አንድ ቀን።

«ኧረ የለም።»

«ሌላ ሰው ካለ ንገረኝ።»

«የት ሄጄ? ከዚህ ቤትና ከዚያ ጉድጓድ ሌላ የት ስሄድ አይተሽኛል?» አለና ልብሱን ለብሶ ወደ ታች ወረደ። በሆርሞን ስም እንጀራ የሚበላ ሰው፣ ሆርሞኔ የት ገባ ብሎ ማንን ይጠይቅ?

ውጪም ቢሆን አያመልጥም። ማዶ ካለው ዳቦ ቤት አንዴ ትኩስ ዳቦ ለመግዛት ቆሞ ነበር። ሻጯ ገና ስታየው ሁለት እጇን አጨበጨበች።

«ብረቱ! አንተም ከዳህ? ባሌን ባንተ የተነሳ ዳቦ ከልክዬው!»

ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ሳቀ። «ለባለቤቴ ነው» አለ ብረቱ። ዳቦውን አምጥቶ ሚስቱ ፊት አስቀመጠውና፣ ሽታው እንዳይደርሰው በር ዘግቶ ወጣ።

ከደንበኞቹ መካከል «በርሜሉ» የሚሉት የከባድ መኪና ሾፌር አለ። የመኪናው ጋቢና ላይ ለመውጣት ሲያለከልክ ረዳቱ ከኋላ ይገፋው የነበረ ሰው ነው። በርሜሉ በዚህ አመጋገብ ግማሽ ሰው ወጣለት። አንድ ቀን በሞላ ጂም መካከል ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ብረቱ፣ ዓምና ሆርሞኔ ወርዷል ብለውኝ ነበር። ነገ ደግሜ ልመረመር ነው። አንተም ና! ቁንጮው ስንት እንደሆነ እንወቅ» አለ።

ሰዉ አጨበጨበ። ጋሼ ከባንኮኒው ብድግ ብሎ፣ «ግሩም ሐሳብ! ውጤቱንም ፎቶው ጎን እንለጥፈዋለን» አለ። ብረቱ መስታወቶቹን አየ። በየመስታወቱ ውስጥ የሚያጨበጭቡ ሰዎች አሉ፤ መሃላቸው አንድ የገረጣ ሰው ፈገግ ብሏል። «እሺ» ብሎ የመለሰው እሱ ነው።

በማግስቱ ምንም ሳይቀምሱ በጠዋት ሄደው ደም ሰጡ። ውጤቱ ሲደርስ በርሜሉ ቀድሞ ገባና ከሐኪሟ ክፍል እየጨፈረ ወጣ። «ወጥቷል! እንደ ኮርማ ነኝ!» አለና ብረቱን አቅፎት ወደ ሥራው በረረ።

ሐኪሟ ብረቱን ስታይ ግን በሩን ዘጋች። ጎልማሳ ሴት ናት፣ አነጋገሯ የረጋ ነው።

«የእርስዎ በጣም ዝቅ ብሏል። ለማረጋገጥ ሌላ ጠዋት እንደግመዋለን። ግን ይንገሩኝ፣ ምን ይበላሉ?»

ነገራት። ሰምታ ስትጨርስ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ታዲያ ጋሼ ዋሽቶኛል ማለት ነው?» አላት። ጋሼ ማን እንደሆነ እንደማታውቅ እንኳ ትዝ አላለውም።

«አልዋሹም፤ ግማሹን ነው የሰሙት። ክብደቱ የበዛ ወንድ ሲቀንስ ብዙ ጊዜ ሆርሞኑ ይሻሻላል። ጓደኛዎ እንደዚያ ነው፤ በኪቶም ቀነሰ በሌላ፣ መቀነሱ ነው የጠቀመው። እርስዎ ግን የሚቀነስ ነገር አልነበረዎትም። ጭራሽ ቅባቱንም አውጥተው ሥጋ ብቻ አደረጉት፣ ከዚያ ቀኑን ሙሉ ብረት ያነሳሉ። ሰውነትዎ ረሃብ የገባ ነው የመሰለው። በረሃብ ዘመን ደግሞ ስለ ልጅ አያስብም፤ ነፍስ ማቆያ ብቻ ነው የሚያስበው።»

«ይመለሳል?»

«ብዙ ጊዜ ይመለሳል። መቼ እንደሆነ ግን ቃል አልገባልዎትም። በኪቶና በዚህ ሆርሞን ላይ የተሠራው ጥናት ገና ትንሽ ነው፤ ሁሉን እናውቃለን የሚልዎትን አይመኑ። ይብሉ፣ ይረፉ፣ ተመልሰው ይምጡ።»

ይረፉ! ብረቱ ሊስቅ ዳድቶት ተወው።

ብረቱ ጂም ሲደርስ በርሜሉ ቀድሞ በስልክ ወሬውን አድርሶታል፣ ቤቱ ሰርግ መስሏል። «ያንተስ?» አለ ጋሼ ገና በሩ ላይ። ሁሉም ዞሮ አየው።

«ጥሩ ነው አሉኝ» አለ ብረቱ።

ቃሉ ከአፉ እንደወጣ በሩ ከኋላው የተቆለፈ መሰለው። ሰዉ ሲወጣ ጠብቆ እውነቱን ለጋሼ ነገረው። ጋሼ ፊቱ ተለዋወጠና ወደ ጆሮው ጠጋ አለ።

«ሌላ የሚያውቅ አለ?»

«ሐኪሟ ብቻ።»

«እንግዲያው ብላ። ማን ከለከለህ? ግን ሰው አይይህ። ደግሞ እንዳትወፍር። ይሄ ቤት ከፈረሰ አንተም እህቴም አብራችሁ ነው የምትፈርሱት፣ ይገባሃል አይደል?»

ይገባዋል። ከዚያ ወዲህ ብረቱ በገዛ ቤቱ ሌባ ሆነ። ደንበኞች ደረጃውን ወጥተው ሊጠሩት ስለሚችሉ ወጥ ቤት አይበላም። የተቀቀለ ድንች በኪሱ ይዞ መታጠቢያ ቤት ይገባል፣ ቧንቧውን ይከፍታል፣ ቆሞ ይውጣል። ሚስቱ ለምን እንደዚያ ውኃ እንደሚያፈስ አልጠየቀችውም። እሱም ስለ ምርመራው ትንፍሽ አላላትም።

ዝምታውን የሰበረው ሙሽራው ነው። ማተሚያ ቤት የሚሠራ፣ ነፋስ የሚጥለው የሚመስል ቀጭን ጎልማሳ ነው፤ ሰርጉ ስለደረሰ «ሙሽራው» ይሉታል። ለሰርጌ ወንድ ልሁን ብሎ ኪቶ ጀምሮ ጉንጩ ገብቷል።

«ስማኝ፣ ላንተ ይሄ አያስፈልግህም። ቤትህ ሂድና ብላ» አለው ብረቱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«አንተስ ወፍራም ነበርክ እንዴ?» አለ ሙሽራው።

ሙሽራውም የክብደት ዘንጉን አንስቶ ገና ደረቱ ላይ ሳያደርሰው ዓይኑ ተገለበጠና ተዝለፍልፎ ወደቀ። ብረቱ ባይደግፈው ያ ሁሉ ክብደት አንገቱ ላይ ነበር የሚያርፈው። ስኳር በጥብጠው ሲያጠጡት ነፍሱ ተመለሰች። የመጀመሪያ ቃሉ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? «ስኳር አጠጣችሁኝ? በቃ አበላሻችሁብኝ!»

ብረቱ ያን ቀን ሽቅብ ወጥቶ ሚስቱ ፊት ተቀመጠና ሁሉንም አወጣው፤ ምርመራውን፣ ውሸቱን፣ ድንቹን፣ ሙሽራውን። ሚስቱ የስፌት መኪናዋን አቁማ አዳመጠችው። የሰፋችውን ኮሌታ በጣቷ እየደባበሰች፣ «እኔኮ ጠላኝ ብዬ ነበር። ይሄን ሁሉ ጊዜ ጠላኝ እያልኩ ነበር» አለች።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ጂሙ ጢም ብሎ ሳለ የብረት በሩ ተከፈተና እሷ ገባች። እዚያ ቤት ወርዳ አታውቅም። በአንድ እጇ የሚጨስ ድንች በሰሃን፣ በሌላው ዳቦ ይዛለች። መሃል ያለው አግዳሚ ላይ አስቀመጠችው።

«ብላ» አለችው ባሏን።

«እህቴ፣ ምን መሆንሽ ነው? ወደ ላይ ውጪ!» አለ ጋሼ።

«ጋሼ፣ አከብርሃለሁ። አባት ሆነህ አሳድገኸኛል። ባሌን ግን ሽንት ቤት ውስጥ አታበላውም። ብላ አንተ!»

ብረቱ ወደ አግዳሚው ተጠጋ። ዳቦውን ቆረሰና ጎረሰ። ሁሉም ያየዋል፣ መስታወቱም ያየዋል። እያኘከ ተናገረ፤ «እኔ ዋሽቻችኋለሁ። የኔ ወርዷል። ወፍራም ለሆነ ሰው ይሄ ነገር ሊጠቅም ይችላል፤ እንደኔ ለከሳ፣ ጾሙን ብረት ለሚያነሳ ግን ጉድ ነው የሚሠራው። ሙሽራው፣ ና ቁጭ በል።» ሙሽራው ዙሪያውን አየና መጥቶ አንድ ድንች አነሳ።

በርሜሉ ግራ ገብቶት፣ «እኔስ? እኔ ግን ልቀጥል አይደል?» ሲል ሁሉም በሳቅ ፈረሰ። ጋሼ ብቻ አልሳቀም። ቁልፉን አንስቶ ወጥቶ ሄደ።

ከዚያ በኋላ አንዳንዱ ቀረ፣ አንዳንዱ ጸና። ጋሼ ብረቱን በሥራ ጉዳይ ካልሆነ አያናግረውም። ባልና ሚስቱ በየማለዳው «ቤቱን ልቀቁ» የሚል ቃል ይጠብቃሉ፤ ቃሉ አይመጣም፣ የሚሄዱበትም የለም። ብረቱ ግን ወጥ ቤት ተቀምጦ ይበላል። ሙቀቱ ቀስ እያለ እየተመለሰ ነው። ሌላውም፣ ሚስቱ እንደምትለው፣ ለመመለስ መንገድ ላይ ነው።

አንድ እሑድ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ጋሼ ነው። እዚያ ቤት ካስገባቸው ወዲህ መጥቶ አያውቅም። አልገባም፤ በሩ ላይ ቆሞ ጫማውን ያያል። ብረቱ በቅርበት ሲያየው ጉንጩ እንደ ሙሽራው ገብቷል፣ በዚያ ፀሐይ ሹራብ ደርቧል።

«ያቺ ሐኪም…» አለ ጋሼ።

«እ?»

«ወንድ ሐኪም የላቸውም?»

ሚስቱ ከውስጥ «ማነው?» ስትል ብረቱ «ጋሼ ነው፣ አንድ ቦታ ደርሰን እንመጣለን» አላትና ጃኬቱን ሊያመጣ ገባ።