«ማርሎው ፖይንት» ተጋኗል ወይስ አልተጋነነም?

1

ተጋኗል።

ይህን ያለችው የሒሳብ መምህርቷ ማስተዋል ናት። ያለችውም በሻይ ሰዓት፣ ሃያ ሦስት ሰው በተቀመጠበት፣ ቡታጅራ ውስጥ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የመምህራን ክበብ ውስጥ ነው። ርዕሰ መምህሩን ብታማ ይሻላት ነበር።

10

ከአንድ በኋላ አሥር? አዎ። ቁጥሩን ተዉትና ወደ ታች አንብቡ፤ ምክንያቱ ይመጣል።

«ማርሎው ፖይንት»፣ ላላያችሁት፣ ዓሣ በቆርቆሮ የሚያሽግ ቤተሰብ እርስ በርሱ የሚጣላበት የፈረንጅ ተከታታይ ድራማ ነው። አሥራ ሁለት ክፍል አለው። ዝናብ አለው። ሁሉም ሰው በመስኮት ወደ ውጭ ያያል፤ ውጭ ግን ምንም የለም። ሲዋደዱ ሹክ ይላሉ፣ ሲሰዳደቡም ሹክ ይላሉ። አባትየው ሃዋርድ ይሞታል። ዓለም ያጨበጨበለት ነው ይባላል። ሲያጨበጭብ ያየ ባይኖርም፣ ያላጨበጨበ ሰው ግን ክበቡ ውስጥ እንደ መሃይም ይታያል።

መምህራኑ ሁሉ ያዩት ከቤት ቤት በምትዞር አንዲት ጥቁር ፍላሽ ነው።

11

የተከራካሪዎች ዝርዝር

አልተጋነነም፦ መምህር እንዳሻው፣ የአማርኛ መምህር፣ ሃምሳ ስድስት ዓመት። ከእሳቸው ጋር ሃያ ሰው።

ተጋኗል፦ ማስተዋል።

ድምፀ ተዓቅቦ፦ የስፖርት መምህሩ። ድራማውን አላየውም። ይህ ግን በየቀኑ ከመከራከር አላገደውም።

12

እዚህ ላይ ለጥቂት መስመር ማሾፉን እናቆማለን።

የጋሼ እንዳሻው ባለቤት ወይዘሮ እታገኘሁ ካረፉ ዓመት ሊሞላቸው ነው። ከዚያ ወዲህ ጋሼ እንዳሻው ጥግ ይዘው፣ ሻያቸውን ሳይጠጡ አቀዝቅዘው የሚሄዱ ሰው ሆነው ነበር። «ማርሎው ፖይንት» መጣና አፋቸው ተከፈተ። ማስተዋልም ከልቧ ደስ ብሏት ነበር፤ ወደ እሷ እስኪዞሩ ድረስ። ማስተዋል ድራማው ያልገባት ጥበብን በቀመር ስለምትፈልገው ነው ሲሉ ክበቡ በሳቅ ሞተ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟ «ቀመር» ሆነ። ዘጠነኛ ክፍሎች ሳይቀሩ ሰምተው ከኋላዋ ይሉት ጀመር።

ሁለት ወር ሙሉ የምትመኘው አንድ ነገር ነው፤ ክበቡ ፊት ቆማ መርታት።

2

ከክርክሩ የተቀነጨበ

እንዳሻው፦ ሃዋርድ ደረጃውን ወርዶ ቁርስ ላይ ሲቀመጥ ማንም አልደነገጠም። አየሽ?

ማስተዋል፦ ለምን ይደንግጡ ጋሼ? የገዛ ቤቱ ነው።

እንዳሻው፦ ጥበቡ እሱ ነው እኮ።

ማስተዋል፦ እንቁላል መብላቱ?

እንዳሻው፦ ተቀብሮ እንቁላል መብላቱ።

3

ተቀብሮ?

4

ሁለት ወር ሲከራከሩ ይህን ቃል ያነሳ አልነበረም። ክርክሩ ስለ ድባብና ስለ ጥልቀት ስለነበር ማን መቼ ሞተ የሚለው ተራ ነገር አይነሳበትም።

ማስተዋል ባዶ ክፍለ ጊዜዋን ጠብቃ ክበቡ ውስጥ ብቻዋን ገባች። ፍላሿን ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካችና ዝርዝሩን ከፈተች።

1
10
11
12
2
3

ቴሌቪዥኑ መቁጠር አይችልም፤ የመጀመሪያዋን አኃዝ ብቻ አይቶ ይደረድራል። መምህራኑ በየቤታቸው ፍላሿን ሰክተው፣ አንዴ ተጭነው፣ ተደላድለው ተቀምጠዋል። ቀብሩን ያዩት ሃዋርድን በተዋወቁ ማግስት ነው። ማስተዋል ግን ቴሌቪዥኗ ተበላሽቶባት በላፕቶፕ ስላየች፣ አንድን ስትጨርስ ሁለትን ከፈተች። ጥፋቷ ይኸው ነው።

5

በድራማው የተደነቁ ነገሮችና ምንጫቸው

የጊዜ መሰባበር፦ ፍላሽ።

የሙታን መመለስ፦ ፍላሽ።

የቤተሰቡ ልጅ ካረገዘች በኋላ ከባሏ ጋር መተዋወቋ (መምህር እንዳሻው «የፍቅር ዘላለማዊነት» ያሉት)፦ ፍላሽ።

ሁሉም በመስኮት ማየታቸው፦ ይሄ የድራማው የራሱ ነው።

6

ብቻዋን ሳቀች። እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ከዚያ ፊቷን ታጥባ የክበቡ ሰብሳቢ አቶ ዘርይሁን ዘንድ ሄደችና ነገሩ አርብ ዕለት በወግ በክርክር ይቋጭ አለች። አቶ ዘርይሁን ስብሰባ ሲባል ዓይናቸው የሚበራ ሰው ናቸው፤ ምክንያቱን እንኳ አልጠየቁም።

7

ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ አርብ፣ ከምሳ በኋላ

የተገኙ፦ 23

ያልተገኙ፦ የሉም (ለፈተና ዝግጅት ስብሰባ የተገኙት ዘጠኝ ነበሩ)

አጀንዳ፦ «ማርሎው ፖይንት» ተጋኗል ወይስ አልተጋነነም

ጸሐፊ፦ መምህርት ማስተዋል፣ የእጅ ጽሑፏ ስለሚነበብ

8

የጋሼ እንዳሻው ጽሑፍ ስምንት ገጽ ነበር። የመጀመሪያዎቹን አምስት ማስተዋል በደስታ አዳመጠቻቸው። ሃዋርድ ከመቃብር መልስ እንቁላሉ ጨው እንደሚያንሰው መናገሩ ብቻ አንድ ገጽ ተኩል ፈጅቷል። ቴሌቪዥኑ በርቷል፤ ፍላሿ ተሰክታለች፤ ሪሞቱ እሷ ዘንድ ነው።

ስድስተኛው ገጽ ላይ ጋሼ እንዳሻው ወረቀቱን አጠፉና መነጽራቸውን አወለቁ።

«እታገኘሁ ካረፈች ወዲህ፣ ጠዋት ጠዋት ሁለት ብርጭቆ ሻይ ነው የምቀዳው» አሉ። «ልጆቼ እንዳያዩኝ ተደብቄ። አእምሮዬ የተነካ መስሎኝ ነበር። ሃዋርድ ተቀብሮ ሲያበቃ ወርዶ ሲቀመጥ፣ ሚስቱም ምንም ሳትል ስትቀዳለት ሳይ፣ ይሄን የጻፈ ሰው የኔን ቤት ያውቀዋል አልኩ። ከዚያ ወዲህ ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ።»

የስፖርት መምህሩ እንኳ አልተከራከረም። ማስተዋል ሪሞቱን ጠረጴዛው ሥር ደበቀችው። ተናደደችም፤ ሁለት ወር የጠበቀችው ቀን ነበርና።

9

አቶ ዘርይሁን ጠረጴዛውን መታ መታ አድርገው መምህርት ማስተዋል ተቃውሞዋን እንድታቀርብ ጋበዙ። ጋሼ እንዳሻው ከዚያ በፊት አንዲት ቃል ለመናገር ለመኑ። «ቀመር» ያሏት እሳቸው መሆናቸውን፣ ነገሩም ውሎ አድሮ እንዳሳፈራቸው ተናግረው፣ በሰው ፊት ይቅርታ ጠየቋት። ከዚያ ወደ እሷ ዞሩ።

«ማስተዋል፣ ይሄን ድራማ ከልብ ያየሽው አንቺ ነሽ። ሌላው እኔን ሰምቶ ነው። ያላየሁት ነገር ካለ ንገሪኝ። አንቺ ካልሽኝ አምንሻለሁ።»

ሃያ ሁለት ሰው ይጠብቃታል። በግራ እጇ ሪሞቱ፣ በቀኝ እጇ እስክሪብቶው አለ። ቃለ ጉባኤው ላይ አንድ መስመር ይቀራል፤ ጸሐፊዋ እሷ ናትና ሌላ የሚሞላው የለም። ጀመረችው፤ የሚቀራት «አለ» ወይም «የለም» ማለት ነው።

የተቃዋሚ አስተያየት፦ ጋሼ እንዳሻው ያላዩት ነገር



____________