ሦስተኛው እጣቢ

ስልኩ ለሦስተኛ ጊዜ ሲንቀጠቀጥ ሰብለወንጌል ከተቀመጠችበት ፍራሽ ሥር ገፋ አደረገችው። በክፍሉ ዙሪያ አሥራ አራት ሴቶች ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው ተቀምጠዋል። ሁሉም ሰምተዋል፤ ማንም ቀና አላለም። ስልኩ የፋንታዬ ነው። ፋንታዬ ዛሬ ረቡዕ ጠዋት ሞታለች፤ አሁን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል።

«እሷ ናት?» ሲሉ እትዬ ዓለሚቱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁ።

«እሷው ናት።»

ጽናት የፋንታዬ ታናሽ እህት ናት። ዳቡቅ በሚባለው የአማን የሀብታሞች ሰፈር በአንድ ቪላ ተቀጥራ እዚያው እያደረች ትሠራለች፤ የምትወጣው በሳምንት አንድ ቀን፣ የአገሩ የእረፍት ቀን በሆነው ዓርብ ብቻ ነው። በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ የምሳው ዕቃ ታጥቦ ማዳሟ ጋደም ስትል፣ ለእህቷ የድምፅ መልእክት ትልካለች። ፋንታዬም በሰዓት የምታጸዳውን ቤት ጨርሳ ሰርቪስ ታክሲ ስትጠብቅ ታዳምጠዋለች፤ እሷም በድምፅ ትመልሳለች። አምስት ዓመት ከፋንታዬ ጋር በአንድ ክፍል የኖረችው ሰብለወንጌል ይህን ሥርዓት እንደ ቅዳሴ ተሰጥዖ ታውቀዋለች።

ጽናት እስከ ዓርብ እንዳትሰማ የወሰኑት እትዬ ዓለሚቱ ናቸው። አማን ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ኖረዋል፤ ልጅ ሲወለድም ሰው ሲሞትም መጀመሪያ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። መርዶ በስልክ አይነገርም አሉ። ማዳሟም መስማት የለባትም፤ ከሰማች ትነግራታለች፤ ስትነግራትም ወጥ ቤት ውስጥ፣ ድስት እንደያዘች፣ በቆመችበት ነው፤ ስትወድቅ የሚይዛት ሰው የለም። ዓርብ ግን ሠልስቱ ነው፤ ሁሉም ይኖራሉ፤ አስቀምጠው ይነግሯታል።

ፋንታዬ ትመራው የነበረው የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ምክትል ሰብሳቢ ማርቆስ በሩ ላይ እንደቆመ ተቃወመ። መኪና እያጠበ የሚኖር ዲያቆን ነው፤ ጫማውን አውልቆ በእጁ ይዟል።

«እትዬ፣ እኛ እዚህ ስናለቅስ እሷ ሁለት ቀን ሙሉ ሩዝ ትጠብ?»

«ትጠብ» አሉ እትዬ ዓለሚቱ። «ሩዝ ማጠብ አይገድላትም። ብቻዋን መስማት ግን ሊገድላት ይችላል።»

ማርቆስ በክበቡ የስልክ ቡድን ማንም አንዲት ቃል እንዳይጽፍ ለአባላቱ አንድ በአንድ ሊደውል ወጣ።

ከደረጃው ግርጌ ሱቅ ያለው ሽማግሌ አቡ ራሚ በትልቅ ቴርሞስ ቡና ላከ። ስኳር የለውም፤ በአገሩ የለቅሶ ቡና አይጣፍጥም። ሴቶቹ በትንንሽ ሲኒ ተቀበሉ። ከመካከላቸው አንዷ፣ ፋንታዬ ብትኖር አተላውን ደረጃው ላይ ለተከለችው ሮማን ታስቀምጥ እንደነበር ተናገረች። ሁለት ሦስቱ ፈገግ አሉና መልሰው ፊታቸውን ሸፈኑ።

አስቀድሞ ያያትም አቡ ራሚ ነው። ጠዋት ለሥራ ስትወርድ በሦስተኛው የደረጃ ማረፊያ ላይ፣ ወይራው አጠገብ ተቀመጠች። ሁለት ባዶ ጀሪካኖች በጎኗ ነበሩ። ሽማግሌው አልገረመውም፤ ሁልጊዜም እዚያ ትቀመጣለችና። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ሻይ ይዞላት ወጣ። ሐኪሞቹ ልቧ ነው አሉ።

ያ ደረጃ ከኮረብታው ሰፈር ከጀበል አል-ወይብደህ ወደ መሐል አማን የሚወርድ ሲሆን ዘጠና ስድስት እርከን አለው። ከሦስት ዓመት በፊት እርከኑን መቁጠር አይቻልም ነበር፤ ግማሹ በቆሻሻ ተቀብሮ፣ የሰፈሩ ሽማግሌዎች በአስፋልቱ ዞረው ይሄዱ ነበር። በአንድ ዓርብ ከቅዳሴ በኋላ፣ በሰንበት ትምህርት ቤቱ ሥር የወጣቶች የአካባቢ ጥበቃ ክበብ መቋቋሙ ተነገረ። ቤተ ክርስቲያኑ ጓንት፣ አካፋና ችግኝ ሰጠ። ፋንታዬ ያን ጊዜ ሠላሳ አራት ዓመቷ ነበር፤ ክበቡ የወጣቶች መሆኑን አንዱ ሊያስታውሳት ሲሞክር፣ «ቆሻሻው ዕድሜ ይጠይቃል እንዴ?» አለችው። በሁለተኛው ወር ሰብሳቢ አደረጓት።

ሰብሳቢነቷ አይጣፍጥም ነበር። ምስጋና አትሰጥም፤ ሲሰጧትም አትቀበልም። አንድ ጊዜ ማርቆስን በሁሉም ፊት፣ «ዲያቆን፣ ጓንትህ ከእጅህ ይልቅ ንጹሕ ነው፤ ዛሬ ምን ሠራህ?» ብላው ለሳምንታት ሲያበሽቁት ከረሙ። በስብሰባ ላይ ጥቁር ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ከፍታ እርሳሷን ታንቀሳቅሳለች። ቃለ ጉባኤውን ግን አትጽፍም፤ ዓይኗን ያማታል። «እኔ ልናገር፣ አንቺ ጻፊ» ትላለች ለሰብለወንጌል፤ ሰብለወንጌልም ትጽፋለች። የእያንዳንዱ ችግኝ ስም በካርቶን ተጽፎ ይንጠልጠል ሲባልም እምቢ አለች። ካርቶን ይበሰብሳል ብላ ከአሮጌ መወልወያ ጨርቅ ቀዳ አሰረችላቸው፦ ለወይራው ቢጫ፣ ለሮማኑ ሰማያዊ፣ ለበለሱ ቀይ።

የመጀመሪያው በጋ ችግኞቹን ሁሉ ገደላቸው። ውሃ በሰፈሩ የሚመጣው በሳምንት አንድ ቀን ነው፤ የጣሪያው ሮቶ ካለቀ አለቀ። ስለዚህ ፋንታዬ አንድ መላ አመጣች፤ ሁሉም የክበቡ ልጆች ሲያጸዱ ይውላሉና የወለል ማጽጃውን ውሃ ከመድፋት ለችግኞቹ ያምጡ። አመጡም፤ እየተፎካከሩ አመጡ። በሦስት ሳምንት አሥራ አንዱም ቅጠላቸው ተቃጥሎ ደረቁ። ቤት ሲያጸዱ የኖሩ ሃያ ሰዎች በረኪና ዛፍ እንደሚገድል አላሰቡም ነበር፤ በረኪና ለእነሱ የንጽሕና ሽታ ነው። ፋንታዬ በደረቁት ችግኞች መካከል ቆማ፣ መላው የእሷ እንደ ነበርና የገደለቻቸውም እሷ እንደ ሆነች ተናገረች።

በቀጣዩ ዓርብ አዲስ ችግኞችና ሕግ ይዛ መጣች። የመጀመሪያው እጣቢ የሳሙና ነው፤ ሁለተኛው የሽታ፤ ሦስተኛው የዛፍ። ማንም ውሃ ከማፍሰሱ በፊት ያሽታል፤ ከተጠራጠረ ጣቱን ነክሮ ይቀምሳል። ጽናት ከዳቡቅ የምታመጣው የሩዝ እጣቢ ነበር፤ ፋንታዬ ከሁሉ አስበልጣ ትወደው ነበር፤ ቢሆንም እሱንም ሳትቀምስ አታፈስም።

ስልኩ ለአራተኛ ጊዜ ሲንቀጠቀጥ ሰብለወንጌል ይዛው ወደ ወጥ ቤቱ ገባች። እትዬ ዓለሚቱ ተከተሏት። መልእክቱን ዝቅ አድርገው ሰሙት።

«እቴቴ፣ ለምን አትመልሺም? አሞሻል እንዴ? ዝም ካልሽ ማዳምን አስፈቅጄ ዛሬውኑ እመጣለሁ።»

«አንድ ነገር በያት» አሉ እትዬ ዓለሚቱ።

ሰብለወንጌል በድምፅ መመለስ አትችልም። ስለዚህ በፋንታዬ ስልክ፣ በፋንታዬ ስም ጻፈች፦ «ደኅና ነኝ። ጉንፋን ይዞኝ ድምፄ ተዘግቷል። አትምጪ። ዓርብ ውሃውን ይዘሽ ነይ።» አነበበችው፤ ነጥቦቹን አስተካከለች፤ ላከችው።

መልእክቱ ወዲያው ተነበበ። መልስ ግን ቶሎ አልመጣም። ቴርሞሱ ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ ባዶውን ሲመለስ ነው አጭር ድምፅ የደረሰው።

«እሺ። ዓርብ እመጣለሁ።»

እትዬ ዓለሚቱ አማተቡ። ሰብለወንጌልም አንድ ሸክም እንደ ወረደላት ተሰማት። «እቴቴ» የሚለው ቃል መቅረቱን ያን ጊዜ ልብ አላለችም።

ሐሙስ ጠዋት ማርቆስ ተመለሰ። አስከሬኑ ወደ አገር ቤት የሚሄድበት ወረቀት ገና እንዳላለቀ ተናገረ። ከዚያም በሠልስቱ ላይ ከፋንታዬ ደብተር ጥቂት ለአባላቱ ሊያነብ እንዳሰበ ነግሯት ደብተሩን ጠየቃት። ሐሳቡ ለሰብለወንጌል መልካም መሰላት። ደብተሩን ከፋንታዬ ትራስ ሥር አወጣችና፣ ከመስጠቷ በፊት ልታየው ጀርባዋን ሰጥታው ገለጠችው።

አንድም ፊደል አልነበረበትም።

ችግኞች ነበሩ፤ በእርሳስ የተሣሉ፣ ሥራቸው ላይ ቢጫ፣ ሰማያዊና ቀይ ነጥብ ያለባቸው። ከእያንዳንዱ ሥር የውሃውን ብዛት የሚናገሩ ጭረቶች ተሰልፈዋል። ዳር ዳሩን ደግሞ ሌሎች ትንንሽ ሥዕሎች አሉ። ጓንት ማርቆስ መሆን አለበት። ወፍራም ጥለት ያለው ነጠላ እትዬ ዓለሚቱ። የሩዝ ፍሬ የያዘ ሳህን ጽናት። ሰብለወንጌል ራሷን ፈለገች፤ በሁሉም ገጽ ላይ አገኘችው። አንዲት ብዕር ነበረች።

አምስት ዓመት ሙሉ ዓይኔን ያመኛል ያለች ሴት አንድ ቀን መነጽር አልገዛችም፤ ሐኪም ጋ አልሄደችም። ከአገር ቤት የመጣ ደብዳቤ ሁሉ በሰብለወንጌል አፍ ተነብቧል። ጨርቆቹም፣ ቃለ ጉባኤውም፣ የድምፅ መልእክቱም ተራ በተራ መጡባት። መጨረሻ ላይ የመጣው ትናንት ራሷ የጻፈችው ሦስት መስመር ነበር፤ ነጥቡ ሁሉ በቦታው የሆነ። ፋንታዬ በሕይወቷ አንዲት ቃል ጽፋ አታውቅም። ይህንንም አብራት ያደገችው እህቷ ታውቃለች።

«ምን አገኘሽ?» አላት ማርቆስ።

ደብተሩን ዘጋችው። «ስለ ውሃ ብቻ ነው» አለች። «የሚነበብ የለውም።»

«ስለ ውሃም ቢሆን ከእሷ—»

«ማርቆስ፣ አልሰጥህም።»

ተቆጥታ አይቷት ስለማያውቅ ሳይከራከር ወጣ።

ሰብለወንጌል የገባትን ለእትዬ ዓለሚቱ አልነገረችም። ከነገረች ደብተሩንም መናገር ይሆንባታል። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የፋንታዬ ስልክ እንደ ወትሮው ተንቀጠቀጠ። ወጥ ቤት ገብታ በሩን ዘጋችና ሰማችው። ከኋላ ቧንቧው ይወርዳል፤ የጽናት ድምፅ ዝግ ያለና የተስተካከለ ነው።

«የዛሬውንም አጠራቅሜያለሁ። ሦስተኛው እጣቢ ነው። አሽትቼዋለሁ።»

ልጅቱ የምታወራው ከሞተች ሰው ጋር መሆኑን እያወቀች ነው። ሰብለወንጌል የራሷን ስልክ አወጣችና ደወለች። ምን እንደምትል አላዘጋጀችም፤ ብቻዋን እንዳትሆን ብቻ ነው የፈለገችው። ጽናት በመጀመሪያው ጥሪ አነሣችው።

«ጽናትዬ፣ እኔ—»

«ሰብልዬ» አለች ጽናት። «አሁን ምንም አትበይኝ። ማዳም እንግዶች አሉባት። ቆሜ ነው ያለሁት።»

ሰብለወንጌል አፏን በመዳፏ ያዘች።

«ዓርብ እመጣለሁ» አለች ጽናት፤ ስልኩም ተዘጋ።

ሰብለወንጌል ወደ ክፍሉ ተመልሳ በቦታዋ ተቀመጠች። እትዬ ዓለሚቱ በዓይናቸው ጠየቋት፤ እሷም ዓርብ ትመጣለች የሚለውን ብቻ መለሰች። ሴቶቹ ጽናት ስትሰማ ማን በግራ፣ ማን በቀኝ እንደሚይዛት ሲመካከሩ ዋሉ። በክፍሉ መካከል የሚነጠፈው ፍራሽ ተመረጠ። ፊቷን እንዳትቧጭር እጇን የሚጠብቅ ሰው ተመደበ። ሰብለወንጌል ይህን ሁሉ አዳመጠች። ዳቡቅ ውስጥ አንዲት ልጅ ለእንግዶች ሩዝ እያቀረበች፣ ማንም እንዳያውቅባት ፊቷን አስተካክላ፣ ይህ ሁሉ እስኪዘጋጅላት ትጠብቃለች።

ዓርብ ከቅዳሴ በኋላ ክፍሉ ሞላ፤ የቀሩት የክበቡ ልጆች በደረጃው አናት ተቀመጡ። ጥቂቶቹ መቀመጡን ስላልቻሉበት ተነሥተው የላይኛዎቹን እርከኖች መጥረግ ጀመሩ። የከለከላቸው የለም። አቡ ራሚ የሱቁን በር ግማሽ ዘግቶ ደጃፉ ላይ ቆሟል።

ሰብለወንጌል ከላይ ሆና ጽናትን ከሰርቪስ ታክሲ ስትወርድ አየቻት። በሐምሌ ሙቀት ጥቁር ሹራብ ለብሳለች። በሁለት እጇ ሁለት ሙሉ ጀሪካኖች ይዛለች። አቡ ራሚ ሊቀበላት እጁን ዘረጋ፤ ራሷን ነቀነቀችለትና አልፋው መውጣት ጀመረች። አልፈጠነችም፤ በየማረፊያው ጀሪካኖቹን አስቀምጣ መልሳ ታነሣቸዋለች።

እትዬ ዓለሚቱ የሰብለወንጌልን ክንድ ይዘው ወረዱ፤ ሁለቱ የተመደቡት ሴቶች ተከተሉ። እቤት ሳትገባ እንዳትሰማ ፈርተዋል። በሦስተኛው ማረፊያ ላይ፣ ቢጫ ጨርቅ የታሰረበት ወይራ አጠገብ ተገናኙ። እትዬ ዓለሚቱ እጃቸውን ዘረጉ። ጽናት ጀሪካኖቹን አስቀምጣ ትከሻቸውን ሳመች፤ ከዚያም ቀስ ብላ ከእጃቸው ወጣች።

«እትዬ፣ ትንሽ ይቆዩኝ» አለች። «ውሃው ይቅደም።»

እትዬ ዓለሚቱ ጥቁሩን ሹራብ አዩ፤ ከዚያ ሰብለወንጌልን አዩ።

ጽናት የአንደኛውን ክዳን ከፍታ አሸተተች። ጣቷን ነክራ ቀመሰች። ከዚያ ግንዱን ሳትነካ፣ በሥሩ ዙሪያ፣ አፈሩ እየጠጣ ሲሄድ እየጠበቀች አፈሰሰች። ሁለተኛውንም እንዲሁ አሽትታ፣ ቀምሳ፣ ለሮማኑ ሰጠች። ባዶውን ልትቀበላት ወደተጠጋችው ሰብለወንጌል ሳትዞር ጠየቀች።

«ደብተሩስ?»

«እኔ ጋ ነው። ማንም አላየውም።»

ጽናት ራሷን ነቀነቀች። እጇን በቀሚሷ አድርቃ፣ እህቷ ትቀመጥበት በነበረው እርከን ላይ ተቀመጠች። ትንሽ ቆይታ ወደ ብረቱ መደገፊያ ጠጋ አለች፤ በጎኗ ለአንድ ሰው የሚበቃ ቦታ ተረፈ።

«ተቀምጫለሁ» አለች። «አሁን ንገሩኝ።»