የአባባ ጋስኬት

ለሰፈሩ ነዋሪዎች፣ ለአላፊ አግዳሚው፣ አጥር ላይ ለተኙት ድመቶችም ጭምር፦ የአባባ መኪና የጭስ ቱቦ መጋጠሚያ ጋስኬት በቤተሰቡ ወንዶች የጋራ ጥረት፣ በዛሬው ቅዳሜ፣ ለሦስተኛ ጊዜ በተሳካ ሁኔታ መጠገኑን ስናበስር ታላቅ ኩራት ይሰማናል። ብሥራቱ ያልደረሰው ካለ፣ ሞተሩ ሲነሳ ይደርሰዋል።

ሞተሩም ተነሳ። የጎረቤት መስኮት ተንቀጠቀጠ። ድመቶቹ ከአጥሩ ዘለው ጠፉ። ታላቅ ወንድሜ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ "አሁን ተሻሽሏል" አለ። ከምን እንደተሻሻለ አልነገረንም።

ታላቅ ወንድሜን ኮሚቴ እንለዋለን። አምፖል ሲቃጠል እንኳ ሰው ሰብስቦ ሐሳብ ካላሰባሰበ አምፖሉን አይነካም። ምክትሉ የታላቅ እህቴ ባል ነው፤ "በእርግጥ" ሳይል አፉን ስለማይከፍት ስሙ በእርግጥ ሆኖ ቀርቷል። ኮሚቴ ይናገራል፣ በእርግጥ ያጸድቃል፣ እኔ ባትሪ አበራለሁ። ጥገናው የሚመራው በዚህ መዋቅር ነው።

የመኪናዋ በሽታ አንድ ቦታ ላይ ነው። ከሞተሩ የሚወርደው ቱቦ ወደ ድምፅ ማፈኛው፣ ወደ ማርሚታው፣ ከሚሄደው ቱቦ ጋር የሚጋጠምበት ቦታ ላይ፣ ጭስ እንዳያመልጥ፣ ጋስኬት መኖር አለበት። ድሮ፣ እኛ ልጆች ሆነን፣ መኪናዋ ረጅም መንገድ ላይ ሳለን መጮኽ ጀመረች አሉ። አባባ ወርደው፣ ከአንድ ቆርቆሮ ላይ በእማዬ መቀስ ጋስኬት ቆርጠው፣ ገጥመው፣ በሰላም ቤታችን አስገቡን አሉ። እማዬ ከዚያ ጉዞ የምታስታውሰው መቀሱ ወዲያ ጨርቅ አልቆርጥም ማለቱን ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ያ ጋስኬት ጋስኬት መሆኑ ቀርቶ "የአባባ ጋስኬት" ሆነ። መጋጠሚያው ማፍሰስ ሲጀምር ኮሚቴ አንድ ጠፍጣፋ ጋስኬት ገዝቶ መኪናዋ ሥር ገባ። የአባባን ማውለቅ ግን አባባን ተሳስተዋል ማለት ነው ብሎ፣ የራሱን እላዩ ላይ ደረበው። እሱም ሲያፈስ በእርግጥ በተራው ደረበ፤ ለአንድነቱም ሲሊኮን ለቀለቁበት። ዛሬ ደግሞ ሌላ ተጨመረ። ከውፍረቱ የተነሳ ብሎኖቹ ዳዶአቸውን የሚይዙት በጥፍራቸው ጫፍ ነው።

አባባ የአንድ መሥሪያ ቤት የትራንስፖርት ክፍል ኃላፊ ሆነው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ስለ ጋስኬቱ ሲወራ ጢማቸውን ያሻሉ እንጂ ቃል አይተነፍሱም። ይህን ዝምታ ኮሚቴ "ጥልቀት" ይለዋል።

በዚህ ሁሉ ጥልቀት ውስጥ የሰመጠችው ታናሽ እህቴ ናት። የምትሠራበት ሱቅ ከተዘጋ ወዲህ በሯን ያንኳኳው ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ የመዋዕለ ሕፃናት ልጆችን ጠዋትና ማታ ማመላለስ። አባባ መኪናዋን ፈቅደውላታል። ሰኞ ጠዋት የመዋዕለ ሕፃናቱ ዳይሬክተር ሴትዮ መጥተው፣ ተሳፍረው፣ አይተው ይወስናሉ።

"ጋሼ፣" አለችው ኮሚቴን፣ ሞተሩ እንደጠፋ፣ "ጭሱ እኮ ወደ ውስጥ እየገባ ነው። የምጭነው ልጆች ነው፣ ሲሚንቶ አይደለም።"

"መስኮት ትከፍቻለሻ።"

"ሲዘንብስ?"

"በእርግጥ፣" አለ በእርግጥ፣ "ሲዘንብ ግማሹን።"

"ለምን ሁሉንም አውልቀን አንድ ትክክለኛ ጋስኬት አናስገባም?"

ኮሚቴ ባትሪውን ከእጄ ነጥቆ ፊቷ ላይ አበራባት። "ሁሉንም ስትዪ... የአባባንም?"

"የአባባንም።"

በእርግጥ እንኳ በእርግጥ አላለም።

"አንቺ ልጅ፣ ምላስሽን ሰብስቢ። ፋብሪካው ያልደረሰበት ላይ ነው አባባ የደረሱት!"

"እሱስ እውነትህን ነው። ፋብሪካው መኪናዋን ሲሠራት ዝም ነበር የምትለው።"

"ኧረ እናንተም ከሞተሩ አትሻሉም!" አለች እማዬ ልብስ እያሰጣች። "ጎረቤቱ በየትኛችሁ እንደሚማረር ግራ ገብቶታል።"

ከሰዓት በኋላ እኔና ታናሼ መለዋወጫ ሱቅ ሄድን። ባለሱቋ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ ስልኳን ትነካካለች። ቀና ሳትል ጠየቀች፦

"የቱቦው አፍ ጠፍጣፋ ነው ወይስ እንደ ጡሩንባ የተከፈተ?"

"የተከፈተ ነው፣" አለች እህቴ። ጠዋት ሲፈቱት አጎንብሳ አይታዋለች።

ባለሱቋ ወፍራም ቀለበት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረገች፤ አንድ ጎኑ ክብ ብሎ ጡሩንባው ውስጥ ሊቀመጥ የተዘጋጀ። "ያንቺ ይሄ ነው። ለእንደዚያ ዓይነት አፍ ጠፍጣፋ ጋስኬት የሚያስገባ ሰው አለ እንዳትዪኝ ብቻ።"

"አለ፣" አልኳት።

"ኧረ! ስንት ሰው ነው?"

"ቤተሰብ ነው።"

ሳቋ መነጽሯን ከአፍንጫዋ ላይ ጣለው።

እሑድ በቀለበቱ ጉዳይ ስብሰባ ተቀመጡ። ኮሚቴ ቀለበቱን አገላብጦ አየና "ይሄ የሌላ መኪና ነው" አለ። በእርግጥ፣ ቀለበቱም ይከበር፣ የቀደሙትም ይከበሩ፣ ስለዚህ እላያቸው ላይ ይቀመጥ የሚል የስምምነት ሐሳብ አቀረበ። ሞከሩት። እላያቸው ላይ የሚቀመጥበት ቦታ አልተገኘም። በሙሉ ድምፅ፣ ቀለበቱ ለመጠባበቂያ መሳቢያ ውስጥ እንዲቀመጥ ተወሰነ። እህቴ ድምፅ አልሰጠችም፤ የጠየቃትም የለም።

ሰኞ ዳይሬክተሯ በሰዓታቸው መጡ። ጃንጥላቸውን አጥፈው፣ ልጆች በሚቀመጡበት በኋላ ወንበር ተቀመጡ። እህቴ ሞተሩን አስነሳች። ሰፈሩን ዞረው ሲመለሱ ዳይሬክተሯ በሻርፓቸው አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው፣ ዓይናቸው ቀልቶ ወረዱ።

"ልጄ፣" አሉ ሲያስላቸው ቆይተው፣ "ሕፃናቱን ልታመላልሻቸው ነው ወይስ ልታጨሻቸው?"

"ይስተካከላል፣ እናቴ። አንድ ቀን ብቻ ይስጡኝ።"

"ነገ ጠዋት እመለሳለሁ። እንደዛሬው ከሆነ ሌላ ሹፌር አለኝ።"

ኮሚቴ ከበሩ እስኪወጡ ጠብቆ፣ "ሴትዮዋ አፍንጫቸው ቁጡ ነው" ብሎ አስተያየት ሰጠ።

እህቴ ወደ ቤት ገባች። የእኔን አሮጌ ሱሪ ለብሳ መጣች፣ ክሪኩን አስገብታ መኪናዋን አነሳች፣ ከሥር ድንጋይ ደገፈችና ካርቶን አንጥፋ ገባች።

"ስብሰባ ሳይደረግ?" ጮኸ ኮሚቴ።

"ስብሰባው ከላይ ይቀጥል፤ እኔ ከታች ነኝ። ባትሪ!"

ባትሪውን ይዤ ተጋደምኩ። ብሎኖቹ ለመፈታት ትንሽ እንኳ አላንገራገሩም፤ ሲጀመርም አልያዙም። ቱቦው ዝቅ አለ። በካቻቢቴ እየፈለቀቀች አንድ በአንድ ወደ ውጪ ትወረውር ጀመር።

"ይሄ የቅዳሜው። ይሄ ሲሊኮን የለበሰውስ የማን ነው?"

"በእርግጥ የኔ ነው፣" አለ በእርግጥ፣ እንደ ጠፋ ዕቃ እያነሳው።

"ይሄ የተቃጠለው?"

"የኔ፣" አለ ኮሚቴ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እዚህ ላይ ቁሚ። ቀጥሎ ያለው የአባባ ነው።"

"ቀጥሎ ያለው ብረት ነው።"

"በደንብ ፋቂው!"

"ና አንተ ፋቀው።"

ኮሚቴ በንጹሕ ሱሪው ተንበረከከ። ባትሪዬን አቀረብኩለት። የጡሩንባው አፍ ባዶ ነበር። ፍርፋሪ የለ፣ የተጣበቀ ነገር የለ፣ ምልክት የለ።

እማዬ የልብስ ሳፋዋን አስቀመጠች። "እንዴ፣ አንተ ልጅ፣ መጀመሪያ ስትደርብ ምን ላይ ነው የደረብከው?"

ኮሚቴ ቆሞ ጉልበቱን አራገፈ። ሌላ የሚያራግፈው ሲያጣ፣ "ስከፍተው አልነበረም" አለ።

"ምኑ?"

"የአባባ ጋስኬት። አጠገቤ ቆመው ነበር። ምን ልበላቸው? የለም ልበላቸው?"

"'የአባባን አልነካሁም' ብለህ ስትምል አልነበር?"

"አልነካሁማ! ምኑን እነካለሁ?"

በእርግጥ ጉሮሮውን ጠረገ። "በእርግጥ እኔም ስደርብ አላየሁትም። ሌላው ሥር ይሆናል ብዬ ነው።"

እንግዲህ የቤታችን ወንዶች ዘመናቸውን ሙሉ የተጠነቀቁለት፣ የተጣሉለት፣ ሲሊኮን የቀቡለት ነገር አየር ነው። አየሩም ውለታ አይረሳምና፣ ያለማቋረጥ ሲያፈስ ኖሯል።

እህቴ አልሳቀችም፤ ጊዜ አልነበራትም። የሁለቱንም ቱቦ አፍ ፍቃ አጸዳች። ከመሳቢያው ቀለበቱን አስመጣችና ክቡን ጎን ወደ ጡሩንባው አድርጋ አስቀመጠችው፤ ቦታው ሲጠብቀው የኖረ ይመስል ገጭ ብሎ ገባ። ብሎኖቹን ከዚህ ትንሽ፣ ከዚያ ትንሽ እያለች፣ እኩል አጠበቀቻቸው። አሁን ዳዶአቸውን እስከ አንገታቸው ነከሱ። ወጥታ ሞተሩን አስነሳች፤ ተመልሳ ገብታም መዳፏን መጋጠሚያው አጠገብ ይዛ ቆየች። ምንም አልነፈሰባትም። ከተሰጣው ልብስ የሚንጠባጠበው ውኃ ሲሚንቶው ላይ ጠብ ሲል ይሰማ ነበር።

"ተነሥቷል እንዴ?" አለች እማዬ።

በማግስቱ ጠዋት ዳይሬክተሯ ሰፈሩን ዞረው ተመለሱ፤ ሻርፓቸው ትከሻቸው ላይ ነው። አልወረዱም። በመስኮት አንገታቸውን ብቅ አድርገው ለእማዬ፣ "አሁኑኑ ትጀምር፤ ልጆቹ ደጅ ላይ እየጠበቁ ነው" አሉ። መኪናዋ ድምፅ ሳታሰማ ከግቢው ወጣች። እህቴ በመስታወቱ ውስጥ ለኮሚቴ ምላሷን አወጣችለት።

አባባ ይህ ሁሉ ሲሆን ደጃፉ ላይ፣ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ጋዜጣ ያነባሉ። ከሰኞ ጀምሮ ያንኑ ገጽ ነው። ኮሚቴ ከተቃጠለው ጋስኬቱ ጋር ቀርቦ ፊታቸው ቆመ፤ በእርግጥ ከኋላው፣ እኔና እማዬ ከጎኑ።

"አባባ፣ ያ መንገድ ላይ የቆረጡት ጋስኬት... የት ገባ?"

አባባ ገጹን ገለጡ።

"ወድቆ ነው? ወይስ ቀድመው አውልቀውት ነበር?"

"በእርግጥ፣" አለ በእርግጥ፣ "ከነጭራሹም አልተገጠመ ይሆናል።"

አባባ ጋዜጣውን ዝቅ አድርገው፣ እንደ ድሮ ሠራተኞቻቸው፣ ተራ በተራ አዩን።

"አላብራራም፣" አሉ።

"አባባ፣ እኛ እኮ ይህን ሁሉ ዘመን..."

"አላብራራም አልኩ።"