የሸረፋ ሯጭ

«ቀስ! ቀስ በሉ እንጂ፣ ይሰበራል!» እያለ ራምዚ ከሚኒባሱ ጣሪያ የሚወርደውን ረጅም ቦርሳ በሁለት እጁ ተቀበለ።

ታላቅ ወንድሙ ሸረፋ ቦርሳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በዓይኑ ለካው። የሰው ቁመት ያክላል። ከኖርዌይ የሚመጣ ዘመድ ቸኮሌት ያመጣል፣ ሽቶ ያመጣል፣ ደግ ከሆነም ስልክ ያመጣል። ይሄ ግን የድንኳን ምሰሶ ነው ወይስ የዓሣ ማጥመጃ?

«ምንድን ነው?» አለ ሸረፋ።

«የሰልሚያ ነው። የልምምድ ዕቃዋ።»

«የሯጭ ዕቃ ጫማ አይደል እንዴ?»

ራምዚ እንዳልሰማ ሆኖ ሌላ ሻንጣ ለመቀበል ዞረ። ሚስቱ ባሂራ ሳቋን በሻሿ ጫፍ ሸፈነች።

ሸረፋ ቡታጅራ ገበያ ውስጥ በርበሬ ይሸጣል። በርበሬው ያቃጥላል፤ ምላሱ ግን ይብሳል። ከሁለት ዓመት በፊት ራምዚ ደውሎ «ልጄ ሰልሚያ ውድድር አሸነፈች» ሲለው፣ ሸረፋ «የስንት ኪሎ ሜትር?» ብሎ ጠየቀ። «የአሥር» አለ ራምዚ። በቃ፣ አለቀ። የእኛ ልጅ አሥር ኪሎ ሜትር አሸነፈች ከተባለ «በምን?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው በመስቃን ምድር ገና አልተወለደም። ሸረፋ ስልኩን እንደዘጋ ጎረቤቱን የእህል ነጋዴ ኡበይድን ጠራና «ወንድሜ ሯጭ ወልዷል!» አለው። ከዚያን ቀን ወዲህ ያልነገረው ሰው ቢኖር ገበያ የማይወጣ ሰው ነው። ራምዚም ወሬው ሲደርሰው ለማስተካከል ሰነፈ። በረዶ አይቶ ለማያውቅ ሰው በረዶ ላይ ስለ መሄድ በስልክ ማስረዳት ቀላል አይደለም።

ዘንድሮ የኖርዌይ ትምህርት ቤቶች ለክረምታቸው ዕረፍት ሲዘጉ፣ እዚያ ያለው ሰው ሁሉ የበረዶ መንሸራተቻ ስኪውን ተሸክሞ ወደ ተራራ ሲወጣ፣ ራምዚ ቤተሰቡን ይዞ ወደ አባቱ አገር መጣ። ሸረፋ ይህን እንደሰማ በቀጥታ የሄደው ወደ ስፖርት መምህሩ ግሩም ነው። ግሩም የትምህርት ቤቱን ሃምሳኛ ዓመት ምክንያት አድርጎ ለቅዳሜ የሴቶች ሩጫ አዘጋጅቶ ነበር። ሸረፋ የወንድሙን ልጅ አስመዘገበ። ይሄም አልበቃው ብሎ ድምፅ ማጉያ በባጃጅ አስጭኖ «የሀቢቡ የልጅ ልጅ፣ ከኖርዌይ!» እያሰኘ ከተማውን አዞረው። ቅዳሜ ደግሞ ነገ ነው።

ቤት ገብተው ቦርሳው ሲከፈት ፊትና ኋላቸው ላይ ጎማ የተገጠመላቸው ሁለት ቀጫጭን ጣውላዎችና ሁለት ረጃጅም ዘንጎች ወጡ።

«እኔ በረዶ ላይ ነው የምሄደው» አለች ሰልሚያ። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ አማርኛዋ ጥሩ ነው፣ ግን ቃሉን እየመረጠች ነው የምታወጣው። «በረዶ ሲጠፋ በዚህ እለማመዳለሁ። ስመለስ ትልቅ ውድድር አለብኝ። ጓደኞቼ አሁን ተራራ ላይ ናቸው፤ እኔ ግን እዚህ መጣሁ።»

«ሩጫውስ?» አለ ሸረፋ፣ ተስፋው በቀጭን ክር ተንጠልጥሎ።

«ሩጫ አልወድም፣ አጎቴ። ከሁሉ የምጠላው እሱን ነው።»

ሸረፋ ያገኘው ነገር ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። «ጉድ ፈላ! ገበያው ምን ይለኛል? ኡበይድስ? ወላሂ ሱቄን ዘግቼ ቆሼ ከተማ ነው የምሰደደው!» አለና ትንሽ አሰብ አደረገ። «ቆይ፣ ታማለች እንበል። ውሃው አልተስማማትም እንበል። ከውጭ የመጣ ሰው ሆዱን ታመመ ቢባል ማን ይጠራጠራል?»

ራምዚ ጥፋቱን ስለሚያውቅ ቶሎ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ሰልሚያ ግን አጎቷን ትክ ብላ አየችው።

«እኔ አልታመምኩም።»

«እናውቃለን የኔ ልጅ። ለማለት ያህል ነው።»

«ሁለት ቀን ተጉዤ መጥቼ አልጋ ላይ ልተኛ? አልተኛም። በዚህ እወዳደራለሁ።»

ጥግ ላይ የተቀመጡት የወንድማማቾቹ አባት ሽማግሌው ሀቢቡ አንዱን ዘንግ አነሱ። መሬት ላይ ተክለው ሞከሩት፤ አገላብጠው አዩት።

«ሁለት ከዘራ!» አሉ። «እኔ ሽማግሌው አንድ ይበቃኛል ስል፣ እሷ ሁለት! በይ ሂጂበት፣ ልየው።»

ተያይዘው አስፋልቱ ዳር ወጡ። ሰልሚያ ጣውላዎቹን ከጫማዋ ጋር አያያዘች፤ ሻርፗ ላይ ቆብ ደፋች። ከዚያ ዘንጎቹን ወግታ ተወረወረች። ባለ ሱቁ፣ ባለ ጋሪው፣ ሻይ የሚጠጣው ሁሉ አንገቱን መዘዘ። እሷ እስከ መታጠፊያው ሄዳ ስትመለስ ሀቢቡ «ሱብሃነላህ!» አሉ። ወዲያው ወደ ሸረፋ ዞሩ።

«ልጅቷ አልዋሸችህም። ሳትጠይቅ ያወራኸው አንተ ነህ። ያበላሸኸውን አንተው አስተካክል።»

ቅዳሜ ጠዋት ከቡኢ በሚመጣው መንገድ ላይ፣ ከከተማው ራቅ ብሎ፣ ሯጮቹ መነሻው ላይ ተሰልፈው እግራቸውን ያፍታታሉ። ግሩም የሰልሚያን ዕቃ ሲያይ እጁን አጣጥፎ ሳቀ።

«ጋሽ ሸረፋ፣ ሩጫ እኮ በእግር ነው። በጎማ ከሆነማ ባጃጁም ይመዝገብ!»

«ከውድድር ውጭ ትሁን» አለ ሸረፋ እየተለማመጠ። «ሯጮቹ ቀድመው ይውጡ፣ እሷ ከኋላ ትከተል። አንድ ነገር ብቻ አድርግልኝ፣ ግሩም፤ ለሕዝቡ አንተ ንገርልኝ።»

የመምህር ያረጋል ልጅ ማዕዶት ቡታጅራ የምትተማመንባት ሯጭ ናት። ወገቧን ይዛ የሰልሚያን ጎማዎች አየችና ከንፈሯን ነከስ አደረገች። «ትምጣ። ከደረሰችብኝ ትድረስብኛ!» አለች።

ግሩም ከኋላ እንድትከተል እሺ አለ፤ ድምፅ ማጉያውን ግን ለሸረፋ አቀበለው። «ያስለፈፍከው አንተ ነህ፤ አንተው ንገራቸው።»

ሸረፋ ማይኩን ያዘ። በርበሬ ሲሸጥ በአንድ ትንፋሽ መቶ ቃል የሚያወጣው ሰው፣ ጉሮሮውን ሦስት ጊዜ ጠረገ።

«አሰላሙ ዓለይኩም... እንደምን አደራችሁ... ሯጭ ናት ያልኳችሁ ልጅ ሯጭ አይደለችም። ስኪ የሚባል የበረዶ ስፖርት ነው የምትወዳደረው። ሳላጣራ ነው ያወራሁት።»

ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። «ሁለት ዓመት ሙሉ ጆሯችንን አደንቁረህ!» ብሎ ጮኸ ኡበይድ ከፒካፕ መኪናው መስኮት። ሸረፋ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ቢሆንም ከዚህ በላይ የሚያፍርበት ስላልቀረው ፒካፑ ኋላ ላይ ዘሎ ወጣ፤ ራምዚም ተከተለው። ሀቢቡ ከፊት ከኡበይድ ጎን ተቀምጠው መዳፋቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉላት።

ሯጮቹ ወጡ። ግሩም ሰዓቱን እያየ አቆያትና እጁን ጣለ። ሰልሚያ ጎንበስ ብላ ተነሣች፤ ፒካፑም ተከተላት። መጀመሪያ ላይ መንገድ ዳር የቆመው ሰው እየተጠቋቆመ ይስቅ ነበር። ነገር ግን ልጅቷ ወደ ኋላ የቀሩትን ሯጮች አንድ በአንድ ማለፍ ስትጀምር ሳቁ ጠፋ። አንዲት መንደር መግቢያ ላይ የመኪና ፍጥነት የሚያበርድ ጉብታ አለ። ሸረፋ ዓይኑን ጨፈነ። ሲገልጠው ልጅቷ ጉብታውን ዘላው አልፋለች፤ ሰዉ ደግሞ ኳስ ሜዳ ያለ ይመስል ይጮሃል።

«ወይ ጉድ! ይቺ ልጅ ሰይጣን ናት!» አለ ኡበይድ መሪውን እየመታ።

«መልአክ በል!» አሉት ሀቢቡ።

ከተማው ሊታይ ሲል አስፋልቱ ተቆፍሮ በጠጠር የተሞላ ቦታ አለ። ሰልሚያ ዘግይታ አየችው። የፊት ጎማዋ ጠጠሩ ውስጥ ገባና በጉልበቷ ተደፋች። ሸረፋ ፒካፑ እስኪቆም አልጠበቀም፤ ዘሎ ወርዶ እጁን ዘርግቶ ሮጠ።

«አትንካኝ!» አለች። ጉልበቷ ይደማል። «ከነካኸኝ አይቆጠርም!»

«ድሮስ መች ይቆጠራል! ከውድድር ውጭ ነሽ እኮ!»

«ለእኔ ይቆጠራል!»

የሸረፋ እጅ አየር ላይ ቀረ። በዕድሜው ሙሉ ጣልቃ ሳይገባ ያሳለፈው ነገር የለም፤ ሰርግም ይሁን ጠብ፣ የሌላ ሰው ዋጋ ድርድርም ይሁን። አሁን ግን እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆመ። ልጅቷ ዘንጎቿን ተደግፋ እየተንቀጠቀጠች ስትነሳ እያየ እንባው መጣ። ከጠጠሩ ወጥታ ጎማዎቿን አስፋልቱ ላይ አስተካከለችና ሄደች። ሸረፋም ተመልሶ ፒካፑ ላይ ወጣ።

የቀረው የከተማው መግቢያ ዳገት ነው። ማዕዶት ብቻዋን ከፊት ትመራለች፤ ዳገት የእሷ ነው፣ በየማለዳው የምትለማመድበት። ሰልሚያ ግን እግሮቿን እየከፈተች፣ ዘንጎቿን እየተከለች፣ ርቀቱን በላችው። «ማዕዶት! ማዕዶት!» የሚለው ጩኸት መሃል «ሰልሚያ!» የሚል ተቀላቀለ። ማን እንደጀመረው አልታወቀም። ፒካፑ ላይ ራምዚ በኖርዌይኛ ይጮሃል፤ ሸረፋ በመስቃንኛም በአማርኛም ይጮሃል፤ ሽማግሌው ሀቢቡ ከዘራቸውን በመስኮት አውጥተው ያወዛውዛሉ።

ሁለቱ ልጆች ጎን ለጎን ሆኑ። መድረሻው ላይ ሪባን ተወጥሯል። ሰልሚያ አንድ ጊዜ በኃይል ገፋችና ቀደመች፤ ሪባኑ ጋ ስትደርስ ግን ወደ ዳር ታጥፋ በጎኑ አለፈች። ሪባኑን የበጠሰችው ማዕዶት ናት። ቡታጅራ በእልልታና በፉጨት ተናወጠች። ሁለቱ ልጆች ትንፋሻቸው ተቆራርጦ አንዷ ሌላዋ ላይ ተደገፉ።

«በሚቀጥለው ያለ ጎማ!» አለች ማዕዶት።

«በጭራሽ!» አለች ሰልሚያ፤ ሁለቱም ሳቁ።

ባሂራ ከሕዝቡ መሃል ወጥታ ልጇን አቀፈች። ግሩም ዋንጫውን ለማዕዶት ሰጠና ማይኩን ይዞ ወደ ሸረፋ መጣ። ሰዉ ከበባቸው። በጠዋቱ የሳቀው ሁሉ አሁን የሸረፋን ትከሻ ለመንካት ይጋፋል።

«ሸረፋ!» አለ ኡበይድ እየገፋፋ። «በል ንገረን! ያንን የበረዶውን ውድድር ታሸንፋለች? ኦሊምፒክስ ትገባለች?»

ማይኩ የሸረፋ እጅ ውስጥ ገባ። ገበያው ሁሉ ጆሮውን ሰጠው። የሚለው አላጣም፤ ኦሊምፒኩ፣ ወርቁ፣ ባንዲራው ምላሱ ጫፍ ላይ ተደርድሯል። አፉን ከፈተ። የሰልሚያ ጉልበት ላይ የደረቀውን ደምና አቧራ አየ። አፉን መልሶ ገጠመው።

«እኔ ምን አውቄ?» አለ። ሸረፋ እንዲህ ሲል ሰምቶ የሚያውቅ ስለሌለ ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። «የነገሩ ባለቤት እዚህ ቆማለች። እሷን ጠይቋት።»

ማይኩን ለሰልሚያ ሰጣትና እንደማንኛውም ሰው ሊሰማ ከሕዝቡ መሃል ገባ።