የማይፋቀው ገጽ

ሲ አብደልሐቅ ነገሩን የጀመሩት ገና ሳይቀመጡ ነው። "አንድ ገጽ ናት። ከመጽሐፍሽ አንዲት ገጽ ብትወጣ ማን ልብ ይላል?"

ባቱል ወንበር ሳበችላቸው። ሽማግሌውን በሞሮኮዋ የፌዝ ከተማ የማያውቃቸው የለም። የወሊዩ የሲዲ መርጃን መቃብር ጠባቂ ናቸው፤ ከሳቸው በፊት አባታቸው፣ ከአባታቸውም በፊት አያታቸው ጠብቀውታል። ቤተሰቡ የሚመካበት የዘር ሐረግ ወሊዩን ከነቢዩ ቤት፣ እሳቸውን ደግሞ ከወሊዩ ያደርሳል።

ባቱል በከተማው ዩኒቨርሲቲ የመካከለኛው ዘመን የእስልምና ታሪክ ተመራማሪ ናት። መርጃንን ስትከታተል ስድስት ዓመት ሞላት። በመጨረሻ በበረሃው ጫፍ ባለች መንደር፣ አንድ ቤተሰብ በፍየል ቆዳ ጠቅልሎ ባቆየው ጥራዝ ውስጥ፣ ከወሊዩ ደረሶች አንዱ የጻፈውን አገኘች። መርጃን የነቢዩ ዘር አልነበረም። ነጻ የወጣ ባሪያ ነበር፤ እስኪሞትም ቆዳ ሲፍቅ ኖሯል። "እውቀት እንደ ርስት ከአባት አይወረስም፤ ለለፋበት ነው" ብሎ በማስተማሩ የከተማው ቃዲ ሁለት ጊዜ አሳስሮታል።

"የቷን ገጽ ነው የሚሉት?" አለች፣ እያወቀች።

"ባሪያ የሚለውን። ፋቂ የሚለውንም ጭምር። ልጄ፣ አባትሽን አውቃቸዋለሁ፣ ጨዋ ሰው ነበሩ። የጨዋ ልጅ የሰው አያት አታዋርድም።"

"እኔ አላዋረድኳቸውም። ያዋረዳቸው በሌላ ሰው ዘር የሸፈናቸው ነው።"

ሽማግሌው ፈገግ አሉ። "ምላስሽስ ስል ነው። ሐሙስ ስለ መጽሐፍሽ የምትናገሪበት የዩኒቨርሲቲው አዳራሽ ግን ያንቺ አይደለም።"

ምን ማለታቸው እንደሆነ በማግስቱ ገባት። የትምህርት ክፍሏ ኃላፊ ጠርቶ ንግግሯ "ለጊዜው" መሰረዙን ነገራት። አዳራሹ ቀለም ሊቀባ ነው አለ።

"ባለፈው ወር ተቀብቶ የለም እንዴ?"

"ባቱል፣ እባክሽ። የዕድገትሽ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ነው ያለው።"

"እንግዲያው ቀለም እንዳይነካው አንሳው" ብላው ወጣች።

ቤቷ አልሄደችም፤ የአሮጌውን ከተማ ጠባብ መንገድ ቁልቁል ይዛ ወደ ቆዳ ፋቂዎቹ ግቢ ወረደች። የማኅበራቸው አለቃ ባ ጅሉል ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ቆዳ በሚነከርበት ጉድጓድ፣ እስከ ጉልበታቸው ኖራ ውስጥ ቆመው አገኘቻቸው።

"ላላ ባቱል፣ የናና ቅጠል ሳትይዢ መጣሽ?" አሉ። "ቱሪስት እንኳ ለሽታው አፍንጫው ላይ ሳይለጥፍ አይገባም።"

"እኔ ቱሪስት ነኝ እንዴ? ለሐሙስ ቦታ ፈልጌ ነው።"

ለምን እንደሆነ ስታስረዳቸው ከጉድጓዱ ወጥተው አጠገቧ ቆሙ።

"ሲዲ መርጃን የኛ ነበሩ ነው የምትይኝ?"

"እንደ እርስዎ ኖራ ውስጥ የቆሙ።"

"ማስረጃ ከሌለሽ እዚሁ ነው የምንነክርሽ።"

"ማስረጃ ከሌለኝ ራሴ እገባበታለሁ።"

ሐሙስ የከሰዓት በኋላው ሰላት ሲያበቃ ግቢው ሞላ። ሠራተኛው በጉድጓዶቹ ጠርዝ ተቀመጠ፣ ከተማሪዎቿም ብዙዎቹ አፍንጫቸውን ይዘው መጡ። ባቱል ያለ ድምፅ ማጉያ ማንበብ ጀመረች። ገና ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሲ አብደልሐቅ ነጭ ጀለቢያቸውን ሰብስበው ሰውን ሰንጥቀው ገቡ።

"ይህች ሴት ደስ ያላትን ታነብላችኋለች" አሉ። "እናንተ የድሮውን ጽሕፈት የት ታውቁትና!"

ባቱል የጥራዙን ፎቶግራፍ ዘረጋችላቸው። "እርስዎ ያውቁታል። ያንብቡልን።"

እምቢ የሚሉ መስሏት ነበር። ሽማግሌው ግን መነጽራቸውን አጠለቁ። በልጅነታቸው ቁርኣንን በቃላቸው የያዙ ሰው ናቸውና ድምፃቸው ያምራል። ሦስት መስመር ሄዱ። አራተኛው ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

"ይቀጥሉ እንጂ" አሉ ባ ጅሉል።

ሊዘሉት ይችሉ ነበር፤ ከባቱል በቀር የሚነቃባቸው የለም። ሲ አብደልሐቅ ጉሮሯቸውን ጠርገው አንድም ቃል ሳያጎድሉ አነበቡት፦ "መርጃን፣ ነጻ የወጣው ባሪያ፣ እጁ ከኖራ የማይለይ፣ እሱም መምህሬ ነው።"

ከጉድጓዶቹ ጠርዝ አንድ ጎልማሳ ሠራተኛ ኖራ የበላውን የገዛ እጁን ያይ ነበር።

"የጻፈው ሰው ተሳስቷል" አሉ ሲ አብደልሐቅ፣ ወረቀቱን እየመለሱ።

"ሊሳሳት ይችላል። ተሳስቷል የሚል ሌላ ጽሑፍ ያምጡልኝ፣ ከዚሁ ገጽ ጎን አትመዋለሁ። እስከዚያ ግን ከቦታው አይነቃነቅም።"

"ትጸጸቻለሽ።"

"ምናልባት። መፋቅ ግን የነዚህ ሰዎች ሙያ ነው እንጂ የኔ አይደለም።"

ግቢው በሳቅ ሞላ። ሲ አብደልሐቅ ሳይስቁ፣ ግን አንገታቸውንም ሳይደፉ ወጡ።

የባቱል ዕድገት ያን ዓመት አልጸደቀም፣ የሚቀጥለውም ዓመት እንዲሁ አለፈ። መጽሐፉ ግን ገጹ ሳይጎድል ታተመ። ሲ አብደልሐቅ ሌላ ጽሑፍ አላመጡም። ፋቂዎቹ ደግሞ ከዚያ የሐሙስ ንባብ ጀምሮ አልለቀቋትም፤ መርጃንን ያሳሰረው ቃዲ በመጨረሻ ምን እንደሆነ ሳትነግራቸው እንዳትቀር በባ ጅሉል በኩል አስጠነቀቋት። በሳምንቱ ሐሙስ ወረቀቷን ይዛ ተመልሳ ወረደች። አዳራሹ እስካሁን አልተከፈተላትም፣ እሷም መልሳ አልጠየቀችም።